የማዳቀል ሥራና የእናት ዘር፦ ከፎገራ ሜዳ እስከ ቻግኒ

በአዊ ምድር የእንስሳ ዘር ነገር በተነሣ ቍጥር አስቀድሞ የሚታሰበው ፈረስ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚሰበሰቡት ፈረሰኞችም ይህንኑ ዝና ያጸናሉ። ይሁን እንጂ የገበሬው ኑሮ የቆመው በቀንድ ከብቱ ላይ ነው። በሬው ያርሳል፤ ላሟ ትወልዳለች፣ ትታለባለች፤ የበሬው የጉልበት ዘመን ሲያልፍም ተቀልቦ ለበዓል ገበያ ይቀርባል። ከዚህ የተነሣ በዚህ አገር የሥጋ ከብት የሚባለው ከእርሻና ከወተት ሥራ በኋላ ለቢላዋ የሚደርሰው ከብት ነው። የተሻለ ሰንጋ የሚሻ ሰው ጥያቄውን ከላሟ መጀመር የሚኖርበትም ለዚህ ነው።

የአዊ አየር ጠባይ ግን አንድ ወጥ አይደለም። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ብርድና ዝናብ የሚበዛባት ደጋ ናት። ዳንግላ ከ2,100 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ በወይና ደጋው ላይ ተቀምጣለች። ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገደኛ በጥቂት ሰዓት የመኪና ጉዞ ቻግኒ ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,600 ሜትር ዝቅ ይላል። ከዚያ በታች ባሉት የወንዝ ሸለቆዎች የቆላ ዝንብና እርሱ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ ከብቱን ይጠብቁታል። በእንጅባራ ብርድ የሚመቸው ከብት በጓንጓ ቆላ ላይመቸው እንደሚችል አባቶች ከሳይንሱ አስቀድመው ያውቁት ነበር።

በጎጃምና በጎንደር መካከል ለማዳቀል ሥራ በእናትነት የተመረጠው ዘር የፎገራ ከብት ነው። መኖሪያው በጣና ሐይቅ ዳርቻ ያለው ረግረጋማ ሜዳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ቀንዱ አጭር፣ ጠባዩ ገር ነው። ሊቃውንት ባለ ትልቅ ሻኛ ከሆነው ዜቡና ከሳንጋው ዘር መካከል በሚገኘው የዜንጋ ወገን ይመድቡታል። ለወተትም፣ ለእርሻም፣ ለሥጋም ይፈለጋል። በ1956 ዓ.ም. ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ በጢስ ዐባይ መንገድ የተቋቋመው የአንዳሳ ጣቢያ ለዚህ ዘር ጥናት ዋና ስፍራ ሆነ።

በዚያው ዘመን በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል የማዳቀል ሥራ ተስፋፍቶ ነበር። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአርሲ ሥራ የጀመረው ካዱ የአርሲን ላሞች ከፍሪዥያን ኮርማ ጋር ያዳቅል ጀመር። በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩትም በሆለታ፣ በባኮ፣ በአዳሚ ቱሉና በመልካ ወረር ጣቢያዎቹ የቦረናን፣ የሆሮንና የባርካን ላሞች ከፍሪዥያን፣ ከጀርሲና ከሲሜንታል አዳቅሎ ውጤታቸውን መዘነ። የመጀመሪያው ትውልድ ዲቃላ በወተትም በዕድገትም ከእናቱ ዘር የላቀ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ትምህርት በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ቻግኒ አካባቢ መጣ። በዚያን ጊዜ ቻግኒ የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ስለነበረች በአቅራቢያዋ የተመሠረተው የከብት ማራቢያ መተከል ተባለ። የአስተዳደር ወሰን በኋላ ሲለወጥ መተከል የቤንሻንጉል ጉሙዝ ዞን ሆነ፤ ማራቢያው ግን በጓንጓ ወረዳ፣ በአዊ ዞን ውስጥ ቀረ። የተሰጠው ተልእኮ ሁለት ነበር፤ የፎገራን ንጹሕ ዘር መጠበቅና ማብዛት፣ እንዲሁም የፎገራን ላም ከፍሪዥያን አዳቅሎ የመጀመሪያውን ትውልድ ጊደሮች ለገበሬው ማከፋፈል።

ሁለቱ ተልእኮዎች አንድ ማኅፀን ይሻማሉ። ዲቃላ የወለደች የፎገራ ላም በዚያው እርግዝና ንጹሕ ጥጃ አልሰጠችም ማለት ነው። ገበሬው የሚጠይቀው ዲቃላዋን ነው፤ የማራቢያው ሥራ የሚለካውም በታደለው ጊደር ቍጥር ነው። ይሁንና በየዓመቱ ከሚወለዱት ጥጆች ግማሽ ያህሉ ወንድ ስለሚሆኑ፣ ከእናቶቹ መካከል በቂ ቍጥር ያላቸው ለንጹሑ ኮርማ ካልተለዩ የሚያረጁትን ላሞች የሚተካ አይገኝም። በፎገራ ሜዳ የሩዝ እርሻ ግጦሹን እያጠበበ በመጣበትና ከብቱ ከደጋው ዘር ጋር በተቀላቀለበት ጊዜ ተተኪን ከገበያ መግዛትም ቀላል አልሆነም።

መፍትሔው ዲቃላዎቹን እርስ በርስ ማራባት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። የውርስ ሕግ ግን ሌላ ሂሳብ አለው። የፎገራና የፍሪዥያን የመጀመሪያ ትውልድ የመዳቀልን ብርታት ሙሉ በሙሉ ይይዛል። ዲቃላ ከዲቃላ ሲገናኝ የባዕዱ ደም ግማሽ ሆኖ ቢቀርም ከዚያ ብርታት ግማሹ ይጠፋል። ወደ ፍሪዥያን መልሶ ማዳቀልም ብርታቱን በግማሽ ይቀንሳል፤ የባዕዱን ደም ሦስት አራተኛ አድርሶም መኖንና በሽታን የማይታገሥ ከብት ያስከትላል።

በዚህ ረገድ የደቡብ አፍሪካው ፕሮፌሰር ያን ቦንስማ ሥራ ሊታወስ ይገባል። ቦንስማ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በማራና በሜሲና ጣቢያዎች የአፍሪካነርን ላሞች ከሄርፎርድና ከሾርትሆርን ጋር አዳቀለ። የከብቱን ክብደት ብቻ አልመዘነም፤ በሐሩር ጊዜ የሰውነቱን ሙቀት ለካ፣ የጠጕሩን ልስላሴ መረመረ። በመጨረሻም ከስምንት እጅ አምስቱ አፍሪካነር፣ ሦስቱ ባዕድ የሆነ ቦንስማራ የተባለ የሥጋ ዘር ጸና። ትልቁን ድርሻ ያገኘው ያገሩን አየር የሚችለው የእናት ዘር ነበር።

ለአዊ ገበሬ ከአየሩ ሌላ ቀንበርና መኖም አሉበት። ቀንበር የሚያርፈው በሻኛ ፊት ስለሆነ፣ ሻኛው ያነሰ ዲቃላ ወይፈን ለእርሻ አይመችም ተብሎ ይነቀፋል። ያ ወይፈን ግን ካገሩ ወይፈን ፈጥኖ ስለሚያድግ፣ በፋጉሎና በአተላ ቢቀለብ ጥሩ ሰንጋ ይወጣዋል። ትልቅ ሞተር ሥራ ፈትቶም ቢቆም ነዳጅ እንደሚበላ ሁሉ፣ ትልቅ ላምም ሳትታለብ ቀለብ ትፈልጋለች። በፋግታ ለኮማ ማሳው ለከሰል በሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ እየተሸፈነ ሲሄድ ይህ ቀለብ ከወዴት እንደሚመጣ አስቀድሞ ማስላት ግድ ነው።

እንግዲህ ለእንጅባራና ለዳንግላ፣ መኖና ሐኪም ባለበት ደጅ፣ ግማሽ ደም ያላት ላም ትስማማለች፤ ወንዱ ልጇም ለሥጋ ይሆናል። ገንዲ ባለበት ቆላ ግን ያገሩ ከብት ራሱ ተመርጦ ቢሻሻል ይበልጣል። በሁለቱም ስፍራ የሥራው መሠረት ንጹሑ የእናት ዘር ነው። ድልድይ የሚሠራ ሰው ምሰሶውን አፍርሶ ወለሉን እንደማያሰፋ ሁሉ፣ ጊደር የሚያድል ማራቢያም አስቀድሞ ለነገዋ የፎገራ ላም የሚሆኑትን እናቶች ቈጥሮ መለየት ይገባዋል።