የአእምሮ ሕክምና ሥልጠና በኢትዮጵያ፦ ከ11 ሐኪሞች ወዲህ

«ሳይካትሪ» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1808 የፈጠረው በጀርመን የሃሌ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ሐኪም ዮሐን ክርስቲያን ራይል ነው። ቃሉ «ነፍስ» እና «ሐኪም» የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት የግሪክ ቃላት ያጣመረ ሲሆን፣ ራይል በዚህ ስያሜ ሊያስገነዝብ የፈለገው የአእምሮ ሕሙማንን ማከም እንደ ውስጥ ደዌና እንደ ቀዶ ሕክምና ሁሉ የሐኪም ሥራ መሆኑን ነበር። ስያሜው በየአገሩ ተቀባይነት ቢያገኝም፣ ሐሳቡ ግን በሐኪሞች ዘንድ እንኳ በቀላሉ አልሰረጸም። የአእምሮ ሐኪም በቅድሚያ የሕክምና ትምህርቱን አጠናቆ እንደ ማንኛውም ስፔሻሊስት የሠለጠነ መሆኑን የማያውቅ፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋርም የሚያምታታው ሰው ዛሬም ጥቂት አይደለም።

በኢትዮጵያ የዚህ ሙያ ታሪክ ለረጅም ዘመን የአንድ ሆስፒታል ታሪክ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በአዲስ አበባ የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሠርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ስሙም በከተማው ሰው አንደበት የእብደት ሌላ ስም እስከ መሆን ደርሶ፣ አማኑኤል ግባ መባል እንደ ስድብ ይቆጠር ጀመር። ሕመምተኛው ብዙውን ጊዜ ወደ ሆስፒታሉ የሚደርሰው ጸበልና ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ፣ አንዳንዴም እጅና እግሩ ታስሮ ነበር። ነውሩ በሕመምተኛውና በቤተሰቡ ላይ ብቻ አልቀረም፤ ለሚያክመውም ተርፏል። ከሕክምና ትምህርት ቤት የሚወጣው ወጣት ሐኪም ዓይኑ ያረፈው በቀዶ ሕክምና፣ በውስጥ ደዌና በማሕፀን ሕክምና ላይ ቢሆን የሚያስደንቅ አይሆንም።

ሆኖም በዘርፉ ምርምር አልነበረም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ ያስተምር የነበረው ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከቫን ላይክ ጋር በመሆን በአንዲት አነስተኛ የኢትዮጵያ ከተማ የአእምሮ ሕመም ምን ያህል እንደሚገኝ አጥንቶ ውጤቱን በ1969 በብሪታንያ የአእምሮ ሕክምና መጽሔት አሳትሟል። ከዚያም ቀደም ብሎ በጊዮን፣ ማለትም በዛሬዋ ወሊሶ፣ ስለሚከናወነው የእምነት ፈውስ ከባልደረቦቹ ጋር ጽፏል። በአማኑኤል ግቢ ውስጥ ብቻ ያለ ይመስል የነበረው ሕመም በየከተማው፣ በየቤቱ መኖሩን እነዚህ ጥናቶች አሳይተዋል። የሚያክመው ሐኪም ግን አልነበረም።

ክፍተቱን በመጀመሪያ የሞሉት ሐኪሞች ሳይሆኑ ነርሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ በአማኑኤል ሆስፒታል የአንድ ዓመት የአእምሮ ሕክምና ነርስነት ሥልጠና መሰጠት ተጀመረ። ተመራቂዎቹ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተመድበው፣ በብዙ ቦታ ያለ አንድም ስፔሻሊስት፣ ክሎርፕሮማዚንና አሚትሪፕቲሊን እያዘዙ፣ የሚጥል በሽታ ያለበትንም በፌኖባርቢታል እየረዱ ክሊኒኮችን አቁመዋል። የአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ሲወሳ የእነዚህ ባለሙያዎች ድርሻ በግርጌ መጠቀሱ ተገቢ አይደለም።

በ1990ዎቹ በዶክተር (በኋላ ፕሮፌሰር) አታላይ ዓለምና በባልደረቦቻቸው በቡታጅራ የተካሄዱት ጥናቶች ደግሞ ጉዳዩን በቁጥር አስደገፉት። ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት በመጠየቅ የተከናወነው ጥናት፣ ስኪዞፍሬንያ ከተገኘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ አመለከተ።

ታዲያ ስፔሻሊስቱ ከየት ይምጣ? እስከዚያ ድረስ መንገዱ አንድ ነበር፤ ወደ ውጭ መላክ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በልዩ ልዩ ዘርፍ ለስፔሻሊቲ ትምህርት ከተላኩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሐኪሞች አብዛኞቹ አልተመለሱም። በእነርሱ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን በለንደን ወይም በቶሮንቶ ሆስፒታል፣ በዚያ አገር ሕመምተኛ፣ በዚያ አገር ቋንቋ ሠልጥኖ የወጣ ሐኪም የተዘጋጀው እዚያው ለመሥራት ነበርና፣ ስህተቱ በአብዛኛው የአሠለጣጠኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በአገር ውስጥ የሚሠሩ የአእምሮ ሐኪሞች ቁጥር 11 ብቻ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ወደ 70 ሚሊዮን ተጠግቷል።

በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የአእምሮ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአገር ውስጥ ከፈተ፤ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲንም እንዲያግዘው ጋበዘ። የግብዣው ዓይነት ልብ ሊባል ይገባዋል። ሬዚደንቶቹ ወደ ካናዳ አልሄዱም፤ መምህራኑ ናቸው የመጡት። ሁለት መምህራንና አንድ የቶሮንቶ ሬዚደንት የሚገኙባቸው ቡድኖች በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአንድ ወር ያህል እየመጡ ያስተምሩ ነበር። ሥልጠናው የኢትዮጵያን ሁኔታና ባህል የጠበቀ እንዲሆንም ከመነሻው የጋራ መርሕ ተደርጎ ነበር። እንግዶቹ በማይኖሩበት ጊዜ ሁሉ ማስተማሩም፣ ተረኛነቱም፣ የሕሙማኑ ኃላፊነትም በእነዚያ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ትከሻ ላይ ነበር። ሬዚደንቱ ሕመምተኛውን በራሱ ቋንቋ እየጠየቀ፣ ስለ ዛሩም ስለ ጸበሉም ከቤተሰቡ ጋር እየተወያየ ሠለጠነ።

በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት የአገሪቱ የአእምሮ ሐኪሞች ቁጥር ከእጥፍ በላይ አደገ። ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ሲታይ አሁንም ኢምንት ነው፤ ቢሆንም ከተመራቂዎቹ መካከል ለተከታዮቻቸው መምህር የሆኑ ነበሩ፤ ከጊዜ በኋላም ሥልጠናው በሌሎች የአገሪቱ ተቋማት ተከፍቷል።

የሙያውን ክብር በተመለከተ የበለጠ የሚያስገርመው ግን ከሌላ አቅጣጫ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ይህንኑ የትብብር ሥርዓት ወደ ሌሎች የትምህርት ዘርፎች ለማስፋፋት ተስማሙ። በ2010 በአዲስ አበባ የተጀመረው የመጀመሪያው የድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠናም የዚሁ ትብብር እገዛ ነበረው። ሐኪሙ ሲመርጥ መጨረሻ ላይ ያስቀምጠው የነበረው ዘርፍ ለሌሎቹ አርአያ ሆኖ ተገኘ።