ፈተና ያለፈ ሁሉ በረኛ ሲሆን፦ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ የመቶ ዓመት ሙግት

አማተር ሬዲዮ ደመወዝ የማይከፈልበት፣ ማስታወቂያ የማይነገርበት የሬዲዮ ሥራ ነው። አንድ ግለሰብ መንግሥት ባወጣው ፈተና አልፎ የጥሪ ምልክት ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ከቤቱ ሆኖ በራሱ ማሰራጫ ከጎረቤት ከተማም ሆነ ከውቅያኖስ ማዶ ካለ ሰው ጋር ይገናኛል። ታሪኩ ከሁሉ በላይ በተመዘገበባት በአሜሪካ፣ የፈቃድ ደንቡ በተነካ ቁጥር ከመቶ ዓመት በላይ ያላባራ አንድ ሙግት ይነሳል። ቀድመው የገቡት «ፈተናው ቀለለ፣ ከእንግዲህ የሚመጣው እንደኛ አይሆንም» ይላሉ። አዲስ ገቢው ደግሞ ገና ድምፁን ሳያሰማ በጥርጣሬ ዓይን ይታያል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው፦ ፈተና የጋራ ሀብት የሆነውን ሞገድ ከጉዳት ለመጠበቅ ያስፈልጋል፤ የሰውን ጨዋነትና ትጋት ግን መዝኖ አያውቅም። ጥሩ አማተር የሚወጣው ፈቃዱን ካገኘ በኋላ በሚያገኘው አቀባበል ነው፤ ይህን አቀባበል የሚሰጡትም ሆነ የሚነፍጉት ቀድመውት የገቡት ናቸው።

ለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃ ራሳቸው የቀደሙት አማተሮች ናቸው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እስከ 1912 ድረስ በአሜሪካ ለሬዲዮ ማሰራጫ ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ወጣቶች በብልጭታ በሚሠሩ መሣሪያዎቻቸው እንደልባቸው ይላላኩ ነበር፣ የባሕር ኃይሉም መልእክቶቻችንን ያውካሉ እያለ ያማርር ነበር። በሚያዝያ 1912 ታይታኒክ ስትሰምጥ የሬዲዮ ሥርዓት አልባነት የምክር ቤት አጀንዳ ሆነ፤ በነሐሴም የሬዲዮ ሕጉ ወጣ። ሕጉ አማተሮችን ፈቃድ እንዲያወጡ ካስገደደ በኋላ ከ200 ሜትር በታች ወዳለው አጭር ሞገድ ገፋቸው። በዘመኑ የነበሩ አዋቂዎች ይህን የሞገድ ክፍል ሩቅ መሄድ የማይችል፣ ለቁም ነገር የማይውል አድርገው ነበር የሚያዩት። የተሰጣቸው ማንም ያልፈለገው ቦታ ነበር ማለት ነው። በኅዳር 1923 ፈረንሳዊው አማተር ሊዮን ዴሎይ ከኒስ ከተማ ሆኖ በኮኔቲከት ካሉት ፍሬድ ሽኔልና ጆን ሬይናርትዝ ጋር በ110 ሜትር ገደማ ሞገድ አትላንቲክን ተሻግሮ ተነጋገረ። ከዚያ ወዲህ መንግሥታትና ኩባንያዎች ወደዚያ «የማይረባ» ሞገድ ተሽቀዳደሙ። በአገራችን የአማርኛ ስርጭቶችን ከኮሎኝና ከዋሽንግተን ያመጣልን የነበረው አጭር ሞገድ ሩቅ እንደሚደርስ ካሳዩት መካከል እነዚህ የተናቁ ጀማሪዎች ይገኙበታል።

ለፈቃድ ይጠየቅ የነበረው የሞርስ ኮድ (ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ የመላላክ ዘዴ) ፈተና በዚያን ዘመን ምክንያት ነበረው፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። መርከቦች እርዳታ የሚጠሩት በሞርስ ነበር፣ ጦሩም ይላላክ የነበረው በሞርስ ነው። አንድ አማተር የአደጋ ጥሪ በሞገዱ ሲያልፍ ሰምቶ ዝም ማለት መቻል ነበረበት። መንግሥት በሚያዝያ 1917 እና በታኅሣሥ 1941 ጦርነት ሲገባ የአማተሮችን ማሰራጫ ቢዘጋም፣ ባለ ጣቶቹን ግን ይፈልጋቸው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በነበረው ሥርዓት ጄኔራል ለተባለው ፈቃድ የሚቀመጥ ሰው በደቂቃ 13 ቃላት መቀበል ነበረበት፤ አንድ ቃል አምስት ፊደል ተብሎ ይቆጠራል። ለአምስት ደቂቃ የሚላከውን እያዳመጠ ይጽፋል፤ ከጻፈው ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ ማለትም 65 ፊደላት በተከታታይ ያለ አንድ ስህተት መገኘት አለባቸው። 64ኛው ላይ የተሳሳተ ሰው ሌላ ንጹሕ ደቂቃ ከሌለው ወድቋል። ፈተናው የሚሰጠው በፌዴራል ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽኑ ቢሮዎች ስለነበር፣ ሩቅ ገጠር የሚኖሩት በአቅራቢያቸው ባለ ባለፈቃድ ፊት ተፈትነው «ኮንዲሽናል» የተባለ ፈቃድ ይወስዱ ነበር። መብታቸው ከጄኔራሉ እኩል ቢሆንም ከተማ ሄዶ በመንግሥት ሠራተኛ ፊት የተፈተነው ብዙ ጊዜ እንደ ሙሉ ሰው አይቆጥራቸውም ነበር። ንቀቱ ከችሎታ ጋር የማይገናኝ መሆኑን ለማሳየት ይህ ብቻውን ይበቃል፦ ያው ኮድ፣ ያው ጥያቄ፣ የተለየው የቤቱ ርቀት ነው።

በ1951 ግን ኮሚሽኑ በታሪኩ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የበለጠ ብልህ ነው የምለውን አደረገ፦ የጀማሪ፣ «ኖቪስ» የተባለውን ፈቃድ ከፈተ። ኮዱ በደቂቃ አምስት ቃል ብቻ፣ ጽሑፉም ቀላል ነበር። ፈቃዱ ለአንድ ዓመት የሚቆይና የማይታደስ ሲሆን፣ ኃይሉ ከ75 ዋት አያልፍም፣ ማሰራጫውም በክሪስታል የሚገዛ መሆን ነበረበት። ይህ በተግባር ምን እንደሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ክሪስታል ማለት በልክ የተቆረጠ ትንሽ የኳርትዝ ቁራጭ ነው፤ ማሰራጫውን አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ቆልፎ ይይዘዋል። ጀማሪው ያለችው አንድ ወይም ሁለት ክሪስታል ብትሆን፣ የሚጠራው በዚያችው ነጥብ ላይ ብቻ ነው። የሚመልስለት ሌላ ጀማሪም በራሱ ክሪስታል ላይ ተቆልፏልና፣ ጠሪው ጠርቶ ሲጨርስ የመቀበያውን ቁልፍ ቀስ እያለ ከባንዱ (ከተመደበለት የሞገድ ክፍል) ዳር እስከ ዳር እያዞረ፣ በጫጫታ መሐል የራሱን የጥሪ ምልክት የሚጠራ ደካማ ድምፅ መፈለግ ነበረበት። ጥብቅ ገደብ ነው፣ ግን የሚያስተምር ገደብ ነው፤ ጀማሪው ከመናገር ይልቅ ማዳመጥን ያስቀደመው በፈተና ተገድዶ ሳይሆን ሥራው ራሱ ስለጠየቀው ነው።

ከደንቡ ይልቅ ዋናው ነገር ግን ነባሮቹ ያደረጉት ነው። ብዙዎቹ የራሳቸውን ሰፊ ባንድ ትተው ጀማሪዎች ወዳሉባት ጠባብ ቦታ ይወርዱ፣ በደቂቃ ሠላሳ ቃል መላክ የለመደ እጃቸውን ወደ አምስት አውርደው ይመልሱላቸው፣ የግንኙነቱን ማረጋገጫ ካርድም በፖስታ ይልኩላቸው ነበር። በ1971 ሮድ ኒውከርክ የተባለው ጸሐፊ በ«ኪው ኤስ ቲ» መጽሔት ላይ ኤልመር ፍሮሃርት የተባሉ ጀማሪዎችን የሚያስተምሩ አንድ አማተርን ሲያመሰግን፣ «ኤልመር» የሚለው ስም ለመሰል ሰዎች ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በቅኔ ቤት መምህሩ ለሁሉ ስለማይደርስ አስነጋሪው ደቀ መዝሙሩን ይዞ እንደሚያስኬደው፣ በሬዲዮውም መንግሥት የሚሰጠው ወረቀቱን ብቻ ነው፤ ሰውየውን የሚያወጣው ከጎኑ የሚቀመጠው ቀዳሚ ነው።

ይህ ልማድ እያለ በ1963 የአማተሮቹ ማኅበር፣ በ1914 በሃይረም ፐርሲ ማክሲም መሪነት የተመሠረተው አሜሪካን ሬዲዮ ሪሌይ ሊግ፣ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሄደ። የቴክኒክ ዕውቀት እየወረደ ነው በሚል ከፍተኛ ፈተና ላለፉት የተለየ የሞገድ ክፍል እንዲከለል ጠየቀ። ኮሚሽኑ በ1967 ተቀበለው፤ በኅዳር 1968 እና በኅዳር 1969 በሁለት ደረጃ ሥራ ላይ ሲውል የጄኔራል ባለፈቃዶች ለዓመታት ሲሠሩበት የኖሩበትን የባንድ ክፍል ተነጠቁ። ዓላማው ቅን እንደነበር አልጠራጠርም። ብዙዎችም ተግተው አጥንተው ወደ ላይ ወጥተዋል። ነገር ግን ለከፍተኛው ፈቃድ ይጠየቅ የነበረው በደቂቃ 20 ቃል ሞርስ መቀበል አንድን ሰው የተሻለ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ያደርገዋል የሚለው ግምት በምንም አልተረጋገጠም፤ በአንጻሩ ቅሬታው ለአሥርተ ዓመታት ቆየ፣ ማኅበሩን ጥለው የወጡም ነበሩ። መሰላል ተሠራ ተባለ፣ ብዙዎች የተሰማቸው ግን ከቤታቸው መባረር ነበር።

የጥብቅ ፈተና ወገኖች ከሁሉ የጠነከረ መከራከሪያቸው ሲቢ የተባለው የዜጎች ሬዲዮ ነው። በ1958 በ27 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ያለ ፈተና ለሕዝብ ተከፈተ። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ የጭነት መኪና ሾፌሮችና ተከታዮቻቸው አጥለቀለቁት፤ ፈቃድ ያላወጣው፣ ኃይሉን ከሕግ በላይ ያሳደገው፣ በሌላው ላይ የሚጮኸው በዛና ኮሚሽኑ በ1983 ፈቃድ መጠየቁን ራሱን ተወ። «ፈተና ሲነሳ የሚመጣው ይህ ነው» ይላሉ። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። እስከ 1,500 ዋት ማሰራጨት የሚችል፣ ማሰራጫውን በራሱ እጅ መሥራት የሚፈቀድለት ሰው የጎረቤቱን መቀበያ እንዴት እንደማያውክ፣ ራሱንም ከከፍተኛ ቮልቴጅ እንዴት እንደሚጠብቅ መጠየቅ አለበት፤ ፈተናው ይቅር የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ሆኖም ሲቢን ያበላሸው የመጣው ሰው ክፋት አይደለም። የሚያስተምረው ነባር አልነበረም፣ ደንብ ሲጣስም በቂ ተቆጣጣሪ አልነበረም። ከዚያው ከሲቢ ተነስተው ተፈትነው ወደ አማተር ሬዲዮ የገቡና ለብዙ ዓመት ያገለገሉ ጥቂት አይደሉም፤ ብዙዎቹ ግን «ከየት እንደመጣህ እናውቃለን» የሚል አቀባበል ገጥሟቸዋል።

ወደ ጃፓን ብንሻገር ሌላ ማስረጃ እናገኛለን። ጃፓን በ1958 የሞርስ ፈተና የሌለበት የድምፅ ፈቃድ ደነገገች፤ ባለፈቃዱ በ10 ዋት ኃይል፣ በአጭር ሞገድም ጭምር መናገር ይችል ነበር። አሜሪካኖቹ ስለ ሞርስ ሲጨቃጨቁ የጃፓን አማተሮች ቁጥር በዓለም አንደኛ ሆነ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ያሱ፣ አይኮምና ኬንዉድ የተባሉት ኩባንያዎች ያደጉት በዚህ ሰፊ የአገር ውስጥ ገበያ ላይ ነው። በኦሃዮ ወይም በቴክሳስ ተቀምጦ «ኮድ የማያውቅ አማተር አይባልም» ይል የነበረው ሰው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው መሣሪያ በአብዛኛው ርካሽና ጥሩ ሆኖ የተሠራው፣ ኮድ የማያውቁ የጃፓን ወጣቶች በብዛት ስለገዙት ነበር። በእርግጥ ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲመጣ የጃፓን ቁጥር ክፉኛ አሽቆልቁሏል፤ ይህን የሚያነሱ ተቺዎች በቀላሉ የተገኘ በቀላሉ ይጣላል ይላሉ። ነገር ግን የወረደው ቁጥር እንኳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው፤ በሩ ከመጀመሪያው ጠባብ ቢሆን ኖሮ እነዚህ የቆዩት ራሳቸው ከየት ይመጡ ነበር?

በአሜሪካ ኮሚሽኑ ሞርስ የሌለበት ፈቃድ በ1983 አቅርቦ በነባሮቹ ተቃውሞ መልሶ አነሳው። በየካቲት 1991 ግን ቴክኒሺያን የተባለው ፈቃድ ያለ ኮድ ተፈቀደ። በ1999 ዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ሥርዓት ሞርስን ሙሉ በሙሉ ሲተው የቀረው ምክንያትም አበቃ፤ በ2000 ከፍተኛው የኮድ ፍጥነት ወደ አምስት ቃል ወረደ፣ በ2003 በጄኔቭ የተደረገው የሬዲዮ ጉባኤ ውሳኔውን ለየአገሩ መንግሥት ተወ፣ በየካቲት 2007 አሜሪካ ጨርሳ አነሳችው። በእያንዳንዱ እርምጃ የመጨረሻው ቀን መጣ ተብሎ ነበር። የሆነው ሌላ ነው፤ በ2012 የአሜሪካ ባለፈቃዶች ቁጥር ከ700,000 አለፈ። ሞርስም አልሞተም። ዛሬ በየባንዱ ታችኛው ጫፍ ሌሊትና ቀን ይሰማል፣ ከሚልኩትም ብዙዎቹ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ስለወደዱት ብቻ የተማሩት ሰዎች ናቸው።

«ጥያቄዎቹ አስቀድመው ስለሚታተሙ ሰው ሸምድዶ ያልፋል» የሚለው ስሞታ አሁንም አለ። የቴክኒሺያን ፈተና 35 ጥያቄ ሲሆን 26 ያገኘ ያልፋል፤ መሸምደድ እንደሚቻል አይካድም። ይሁንና ጥያቄዎቹ በምስጢር ይጠበቁ በነበረበት ዘመንም ከተፈታኞች ትውስታ የተሰበሰቡ መጻሕፍት ይሸጡ ነበር። መሸምደድ ትናንት የተጀመረ አይደለም፤ ሸምድዶ ያለፈውን ሰው ወስዶ አንቴናውን እንዴት እንደሚለካ የሚያሳየው ሰው መጥፋቱ ነው የሚያሳስበው። ብዙ የቴክኒሺያን ባለፈቃዶች ጥቂት ጊዜ ጠርተው መልስ ሲያጡ መሣሪያቸውን ያስቀምጣሉ። በአዲስ አበባ፣ በአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው፣ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በሚል የጥሪ ምልክት የሚሠራው የአማተር ሬዲዮ ክበብ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ተማሪዎች በክበቡ የጥሪ ምልክት ይሠራሉ፤ ከውጭ የመጡ ልምድ ያላቸው አማተሮችም አጠገባቸው ተቀምጠው አሠልጥነዋቸዋል። የኢትዮጵያ ምልክት በአየር ላይ ብርቅ በመሆኑ አንዱ ተማሪ ሲጠራ ከየአህጉሩ የሚመልሱለት ይሻማሉ፤ ትናንት የጀመረ ነው ወይስ አርበኛ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በሚያዝያ 2022 ኮሚሽኑ ለፈቃድ ማመልከቻ የ35 ዶላር ክፍያ ሲጀምር፣ ሊጉ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ አመልካቾች ገንዘቡን እኔ እከፍላለሁ አለ። በ1963 በሩን ያጠበበው ያው ማኅበር ነው፣ ለውጡም ትንሽ አይደለም። 35 ዶላሩ ግን የመግቢያ ወጪ ብቻ ነው፤ ልጁ በመጀመሪያው ምሽት የጥሪ ምልክቱን ሲያሰማ መልስ የሚሰጠው የሰፈሩ ባለፈቃድ ነው፣ ያንን ደግሞ የትኛውም ማኅበር በቼክ አይከፍለውም።