የኖት ታሪክ፦ ከአቃቂ ቃሊቲ ሆነን ስናየው

ታሪክ ሲባል ወዲያው ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ዘመቻና ዘውድ፣ ውልና ድንበር ነው። ይህንንም ቢሆን በትምህርት ቤት ሳለን ያገኘነው ከኖት ነበር። ታዲያ ኖት ራሱ ታሪክ እንዳለው ማን ነገረን? በዚህች አጭር ጽሑፍ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ደብተር ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳይንስና በሥነ ጽሑፍ ትምህርት በኩል ምን እንዳተረፈልንና ምን እንዳጎደለብን ለመመርመር ተነሥተናል። የምናየውም ከምናውቀው ሠፈር፣ ከአቃቂ ቃሊቲ ሆነን ነው።

መጀመሪያ ወደ ኋላ እንሂድ። የቆሎ ተማሪው ደብተር አልነበረውም። ብራና ውድ ነው፣ ቀለም መበጥበጥም ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዳዊቱንም፣ ዜማውንም፣ ቅኔውንም የሚሸከመው በቃሉ ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እያልን ብንተርትም፣ ያ ትምህርት ቤት ግን በቃል ያለውን ሳይረሳ ለብዙ መቶ ዓመታት አቆይቶልናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በአብነት ትምህርት ቤት ቃል መያዝ የትምህርቱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ንባብ ቤት የዋለ ተማሪ ዜማ ቤት ይገባል፣ ከቅኔ ቤት ይሻገራል፣ በመጨረሻም መጻሕፍት ቤት ገብቶ «ይህ ምን ማለት ነው?» ተብሎ ትርጓሜ ይማራል። ንባብና ትርጓሜ ሁለት ቤት ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ነው። ይህን ነገር እንያዘው፣ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሰሌዳና ጠመኔ፣ ወረቀትና ብዕር አብረው መጡ። ከጣልያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ዋነኛው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ባቡርም በአቃቂ በኩል አልፎ የመጣው ፈረንሳይኛ እየተናገረ ነው፤ ለገሃር የሚለው ስም እስከ ዛሬ ምስክር ነው። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ግን እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ። በ1935 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮተቤ ላይ ተከፈተ፣ ቀጥሎም ጄኔራል ዊንጌት መጣ። ተማሪዎቹ የሚቀመጡት ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ነበር። አገራችን የራሷን መልቀቂያ ፈተና ካቋቋመች በኋላም ማትሪክ የሚለው ስም አልለቀቀንም።

እንግዲህ ኖት የተወለደው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ ከባሕር ማዶ ይመጣል፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። መምህሩም ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ ነው፤ ሕንዳዊ፣ እንግሊዛዊ፣ አሜሪካዊ። ለ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ብቻ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ ፒስ ኮር መምህራን በአንድ ጊዜ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተሠማርተዋል። እያንዳንዱ በየራሱ አፍ እንግሊዝኛውን ሲናገር ተማሪው በጆሮው ለመያዝ ይቸገራል። በዚያ ላይ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ሲሆን፣ ተማሪው ስድስተኛ ክፍልን ጨርሶ ሰባተኛ ሲገባ ሳይንሱም፣ ሒሳቡም፣ ጂኦግራፊውም በአንድ ክረምት ውስጥ ቋንቋቸውን ለውጠው ይጠብቁታል። ምን ይደረግ? ጆሮ ያልያዘውን እጅ ይያዘው! መምህሩ በሰሌዳ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል። መምህሩ ሲደክመው ደግሞ ጽሑፉ ያማረ ተማሪ ተመርጦ ኖቱን ይዞ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። ስድሳና ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል፣ መጽሐፍ ለአራትና ለአምስት በሚዳረስበት ጊዜ፣ ኖት የመጽሐፍ ምትክ ነበር። ይህን ውለታውን መካድ አይገባም።

አቃቂ ይህ ነገር በደንብ የታየባት ቦታ ናት። ባቡሩ መንገዷ ስለሆነ ፋብሪካ ተከተለ። በሕንዶችና በኢትዮጵያውያን ሽርክና የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱት ድርጅቶች አንዱ የሆነው ማለት ነው፣ ከየገጠሩ ወጣቱን ሰበሰበ። ፈረቃ የሚገባ ሠራተኛ ቀን መማር አይችልምና የማታ ትምህርት የዚህ ሠፈር ትልቅ ተስፋ ሆኖ ኖረ። የማታ ተማሪ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ኖት ያስፈልገዋል። ፈረቃው ሲለዋወጥ ክፍል ይቀርበታል፣ ጓደኛው የገለበጠውን ተውሶ በኩራዝም በመንገድ መብራትም ይገለብጣል። ደብተር ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይወርዳል። ሀብት ባልነበረበት ቤት የሚወረስ ነገር ይኸው ነበር።

አሁን ደብተሩን ከፍተን ውስጡን እንይ። የእንግሊዝኛው ደብተር ሰዋስው ነው፤ አክቲቭና ፓሲቭ ቮይስ፣ ዳይሬክትና ኢንዳይሬክት ስፒች። በደርግ ዘመን «ኢንግሊሽ ፎር ኒው ኢትዮጵያ» የሚባለው መጽሐፍ ሲመጣም ደብተሩ ብዙ አልተለወጠም። ሕጉ አለ፣ ምሳሌው አለ፣ የሚናገርበት ሰው ግን የለም። ተማሪው ፓሲቭ ቮይስን አንድም ሳይሳሳት ይገለብጥና የጠፋበትን መንገድ ለአንድ እንግዳ ሰው መጠየቅ ይቸግረዋል።

የሳይንሱ ደብተር ትርጉም ብቻ ነው፤ ከእያንዳንዱ ርዕስ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ተሠምሮበት ይገኛል። ኦስሞሲስ ምንድን ነው ቢባል ተማሪው ትንፋሽ ሳይወስድ ይወርደዋል። ነገር ግን እናቱ ለቋንጣ የዘለዘሉት ሥጋ ላይ ጨው ሲነሰነስበት ውሃ የሚያቀረው ለምንድን ነው ቢሉት ዝም ይላል። ኢነርሺያም እንዲሁ ነው። የቃሊቲ አውቶቡስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ሁላችንም ወደ ፊት እንወረወራለን፤ ግን ያ የኒውተን ሕግ መሆኑን ደብተሩ አልነገረንም። ኬሚስትሪ ፈርመንቴሽን ሲል በየጓሮው ጋን ውስጥ የሚንተከተከውን ጠላ ማለቱ እንደ ሆነ ስንቶቻችን አሰብን?

የአማርኛ ሥነ ጽሑፉ ደብተር ግን ለየት ይላል። እዚያ ውስጥ ተለዋጭ ዘይቤ፣ ሰውኛ ዘይቤ፣ ግነት የሚሉ ቃላት አሉ፤ ሴራ፣ ግጭት፣ ጭብጥ፣ መቼት አሉ። መቼት የሚለውን ቃል እዩት፤ መቼና የት ተጋጥመው የሠሩት ነው። ቃሉን የሰማ ተማሪ ሳይሸመድደው ትርጉሙን ይደርስበታል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሴራ ተጠየቅን እንበል፤ ያላነበበው እንኳ የሰማውን ይከራከርበታል። ክርክር ያለበት ደብተር ይኸኛው ብቻ ነበር። ለምን ይሆን? የአማርኛ መምህራን ከሌሎቹ ይልቅ ብልሆች ስለሆኑ አይመስለንም። ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ ስለተጻፈ ነው።

ይህን የሚያረጋግጥልን ሌላ የታሪክ ምስክር አለ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የዩኒቨርሲቲና የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና መምህራን፣ ወደ ስድሳ ሺህ የሚሆኑ፣ ደብተራቸውን ዘግተው ወደ ገጠር ወጡ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ እየሰፋ ሲሄድ የማስተማሪያው ቋንቋ አሥራ አምስት ደረሰ። ገልባጩ ተማሪ አስተማሪ ሆነ። ለገበሬው ሲያስተምር በእንግሊዝኛ ኖት አልሰጠውም፣ በአፉ በሚናገረው ቋንቋ ነገረው እንጂ። ዘመቻው የራሱ ብዙ ጣጣ ነበረበት፣ ያ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ነገር ግን ያው ተማሪ ወደ ክፍሉ ሲመለስ የጠበቀው ያው ሰሌዳ፣ ያው የማይገባው ዓረፍተ ነገር ነበር።

ስቴንስልም መጣ። በዱፕሊኬተር የተባዛ ሃንዳውት ከሰሌዳ ግልበጣ አንድ እርምጃ ነው፤ እጅ ያርፋል፣ የፊደል ስሕተትም ከደብተር ወደ ደብተር አይዛመትም። በኋላም ፎቶ ኮፒ ቤቱ ተከተለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በየአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን አደረገ። በዚህም የተነሣ ከአቃቂ ወዲያ ማዶ በገላንና በዱከም በኩል ሳይንስን እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ፣ ወዲህ ደግሞ በአማርኛ የጀመረው፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ እኩል በእንግሊዝኛ ደጃፍ ተገናኙ። ድልድይ የሠራላቸው ግን አልነበረም።

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣ። በደቡብ አፍሪካ ኩባንያ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ፣ ከአርባው ደቂቃ ሠላሳ ያህሉን የቴሌቪዥኑ መምህር ያዘው። እሱ አይጠየቅም፣ አይቆምም፣ ድገምልኝም አይባልም። ተማሪው ግማሹን ዓረፍተ ነገር ሳይገለብጥ ሥዕሉ ይለወጣል። ከወረራው በፊት የአገሪቱ ሬዲዮ ድምፁን ያሰማው ከዚችው ከአቃቂ ነበር፤ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ለዚህ ሠፈር አዲስ አይደለም። ግን የሚሰማና የሚገባ ድምፅ አንድ አይደሉም። ዛሬ ደግሞ ኖት በቴሌግራም ነው። የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ በሙሉ በአንድ ፒዲኤፍ ስልክ ውስጥ ይገባል። መገልበጥ እንኳ ቀረ፤ የምንከምረው በዛ፣ የምናነበው አነሰ።

ውጤቱስ? ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ኩረጃ በማይቻልበት ሁኔታ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲሰጥ፣ ወደ ዘጠኝ መቶ ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያም 5.4 በመቶ ሆነ። አገር ደነገጠ። አንዳንዱ ተማሪውን ሰነፍ አለው፣ አንዳንዱ መምህሩን ወቀሰ። እኛ ግን የምንለው ይህ ቁጥር በአንድ ሌሊት የተወለደ አይደለም ነው። አጤሬራ ሲወሰድ የቀረው ሽምደዳ ነው፤ ሽምደዳም ጥያቄው በትንሹ ሲጣመም ይሰበራል። ንባብ ቤቱን ይዘን ትርጓሜ ቤቱን ስለተውን ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ታዲያ ኖቱን ሁሉ በአማርኛ እናድርገውና እንግሊዝኛው ከናካቴው ይጥፋ ነው የምትሉት?» ይሉን ይሆናል። አይደለም። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ የዓለም መጻሕፍትም አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። ነገር ግን ያልገባንን ነገር በእንግሊዝኛ መያዝ እንግሊዝኛም አያስተምርም፣ ሳይንስም አያስተምርም። ቃሉም የለንም እንዳይባል በ1989 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አለ፤ ብርሃን አስተጻምሮ፣ እፍጋት፣ ስበት የሚሉትን ቃላት የሚያውቁ መምህራንም ዛሬ ድረስ በየሠፈሩ አሉ።

ስለዚህ ሐሳባችን ቀላል ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። በየክረምቱ ለታናናሾቻችን ጥናት የምናስጠና እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የደብተሩን ገጽ በመስመር ለሁለት እንክፈለው። በግራ በኩል የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይቀመጥ። በቀኝ በኩል ተማሪው በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ፣ በገዛ ቃሉ፣ ከቤቱና ከመንገዱ ባየው ምሳሌ ትርጓሜውን ይጻፍ። ቀኙ ባዶ የቀረ ገጽ ገና አልተጠናም ማለት ነው፤ አስጠኚውም ከዚያ ይጀምር።

ሁለተኛም አለ። አሮጌ ደብተሮች በኪሎ ተሸጠው ኦቾሎኒ እየተጠቀለለባቸው ነው። በዘመነ ንጉሡ፣ በደርግ ዘመንና በፕላዝማ ጊዜ የተጻፉትን ከየቤታችን አልጋ ሥር አውጥተን፣ የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቀን፣ ከየዘመኑ አንድ አንድ እንኳ እናስቀምጥ። የመንግሥት መዝገብ ስንት ትምህርት ቤት እንደ ተሠራ ይነግረናል። ክፍሉ ውስጥ ምን እንደ ተባለና ተማሪው የቱ ጋ እንደ ጠፋበት የሚነግረን ግን ደብተሩ ብቻ ነው።