ጠያቂን የማያሳፍር ሥርዓት፦ ከወንፈል እስከ ዕድር



የወር መዋጮና የብድር መዝገብ የምንይዝ ሰዎች አንድ ነገር ደጋግመን እናያለን። አንዲት አባል ስትቸገር መጀመሪያ የሚጎድለው ገንዘቧ ሳይሆን ራሷ ናት። «በዚህ ወር አልሞላልኝም» ብላ ከመናገር ይልቅ ከስብሰባው መቅረት ይቀላታል። በሁለተኛው ወር ስልክ አታነሳም። በሦስተኛው ወር መንገድ ላይ ስታየን ወደ ማዶ ትሻገራለች። መዝገቡ የሚያሳየን ባዶ ቦታ ብቻ ነው፤ ልጇ ታሞ ይሁን፣ የቤት ኪራይ ተጨምሮባት ይሁን፣ ገበያዋ ተቀዛቅዞ ይሁን አይነግረንም። ማኅበሩ የተቋቋመው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። እሷ ግን በዚያው ቀን ከማኅበሩ ትሸሻለች።

«ለምን አልነገርሽንም?» ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፦ ሰው ምን ይለኛል፣ ገበናዬን ለምን አወጣለሁ፣ ለማኝ መስዬ ልታይ ነወይ። «ዝም አይነቅዝም» የሚል አባባልም አለን። ዕዳ ግን ዝም ሲሉት ይወልዳል፤ በሽታም ዝም ሲሉት ይጠናል።

ይህን ፍርሃት «አይዞሽ፣ አትፈሪ» በሚል ምክር ብቻ ማስወገድ አይቻልም። የአገራችንን የመረዳዳት ታሪክ ስናይ የቀደሙት ሰዎችም በምክር አልተመኩም። እነሱም እንደኛ ማፈርን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ጠያቂዋ እንድትደፍር ከመገፋፋት ይልቅ፣ መጠየቅ የማያሳፍርበትን ሥርዓት አበጁ። ወንፈል፣ ደቦ፣ ዕቁብና ዕድር እያንዳንዳቸው ይህን ያደረጉት በየራሳቸው መንገድ ነው።

ወንፈልና ደቦ

ወንፈል በቀን የሚቆጠር የጉልበት ብድር ነው። ዛሬ አምስት ጎረቤቶች የአንዱን ማሳ ቢያርሙ፣ ባለማሳው ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቀን ይመልሳል። በኦሮሞ ገበሬዎች ዘንድም ዳዶ የሚባል ተመሳሳይ ሥርዓት አለ። ቀኑ የሚጻፍበት ደብተር ባይኖርም ሁሉም በልቡ ይይዘዋል። ወንፈል የጠየቀ ሰው የሚበደረው የሚመልሰውን ስለሆነ አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለም። እኛ የሒሳብ ሰዎች ይህን በደንብ እንረዳዋለን፤ የሚመለስበት መንገድ የታወቀ ብድር ማንንም አያሳፍርም።

ደቦ ግን ይለያል። በደቦ ቀን አይቆጠርም። ሥራ የከበደው ቤት ጎረቤቱን ይጠራል፤ የተጠራውም ማጭዱን ወይም በሬውን ይዞ ይመጣል። ጠሪው በበኩሉ ምግብና ጠላ ያቀርባል። ጠላ በአንድ ቀን አይደርስምና ዝግጅቱ የሚጀመረው ደቦው ከመድረሱ ከቀናት በፊት ነው። ብቅል የምታበቅለው፣ ጌሾ የምትወቅጠው፣ እንጀራ የምትጋግረው የቤቱ እመቤት ናት። በዚህም ምክንያት የደቦ ጥሪ ግማሹ የሴት ሥራ ነበር ማለት ይቻላል። ሰው ሲሰበሰብ ባለቤቷ በሯ ላይ የምትቆመው እንደ ለማኝ ሳይሆን እንደ ጋባዥ ነው። «ኑ እርዱኝ» የሚለው ቃል «ኑ ብሉ፣ ጠጡ» ከሚለው ጋር ይወጣል።

ይህ ባል ለሞተባት ሴት ትልቅ ነገር ነበር። በብዙ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ አካባቢዎች ሴት ሞፈርና ቀንበር ይዛ ማረስ እንደ ነውር ይታይ ነበር። ወንድ የሌለበት ቤት ያለው አማራጭ መሬቱን ለእኩል አራሽ መስጠትና ምርቱን መካፈል፣ አለዚያም ሰው መጥራት ነው። ደቦ መጥራት የቻለች ሴት ምርቷን ሙሉውን ታስገባለች።

ደቦ ጉድለትም ነበረው። ለድግሱ የሚሆን እህል ያጣች ሴት ደቦ መጥራት አትችልም። ከሁሉ የባሰ የተቸገረችው ሥርዓቱ ሳይደርስላት የምትቀርበት ጊዜ ነበር። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ዕቁብና ውጆ

በከተማ ኑሯችን ከሁሉም የምናውቀው ዕቁብን ነው። ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣ የደረሳት ዋስ ጠርታ ገንዘቧን ትወስዳለች። ዕቁብ ያፈረሰው አንድ ትልቅ እፍረት አለ፤ በርከት ያለ ገንዘብ ከሰው መቀበልን። ሁሉም በተራው ስለሚቀበል ተቀባይና ሰጪ የሚባሉ ሁለት ወገኖች የሉም። በዚህ ሳምንት የሰጠች በሌላው ሳምንት ትቀበላለች።

ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ሌላም ነገር አለ። በብዙ ዕቁቦች ሠርግ፣ ሕመም ወይም የንግድ ኪሳራ የገጠማት አባል ተራዋ ሳይደርስ ዕጣው እንዲሰጣት ዳኛውን መጠየቅ ትችላለች። ዕጣ የደረሳትም ተራዋን ትለቅላታለች። በሌላ አነጋገር፣ ዕቁብ በደንቡ ውስጥ ለጠያቂ በር ትቶላታል። ጥያቄው የሚቀርበው በግል ለአንዲት ጓደኛ ሳይሆን ለዳኛው ነው፤ ፈቃዱም የሚሰጠው በጉባኤው ፊት ነው። ኋላ ላይ «ውለታዬን አስታውሺ» የሚል ሰው አይኖርም።

በጉራጌ ሴቶች ዘንድ ደግሞ ውጆ አለ። ሴቶቹ ቅቤ በተራ ለአንዷ ያዋጣሉ። ከአንዲት ላም የሚገኘው ቅቤ በየጊዜው ጥቂት ስለሆነ በቤት ውስጥ ሳይታወቅ ያልቃል፤ በአንድ እጅ ሲሰበሰብ ግን ገበያ ወጥቶ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ያመጣል። እነዚህ ሴቶች አነስተኛ ብድርና ቁጠባ የሚባለው ነገር ከመምጣቱ በፊት በራሳቸው ንብረት የራሳቸውን ባንክ አቋቁመው ነበር።

ዕድር፦ ስለ ሌላው የሚጠይቅ ጡሩምባ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከየአቅጣጫው ሰው እየመጣ ሰፈረባት። በገጠር ሰው ሲሞት ዘመድ አዝማድ ሳይጠራ ይደርሳል። በአዲሱ ከተማ ግን ዘመድ ሩቅ ነው፤ ጎረቤቱም ከሌላ አገር የመጣ ነው። ስለዚህ «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» የሚለው እውነተኛ ጥያቄ ሆነ። ብዙ አጥኚዎች የዕድርን መነሻ ከዚህ የከተማ ኑሮ ጋር፣ በተለይም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ከመጡ የጉራጌ ተወላጆች ጋር ያያይዙታል። በ1928 ዓ.ም. በጀመረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ይበልጥ እንደተስፋፋም ይነገራል።

የዕድር ብልሃቱ ሐዘንተኛዋ ምንም እንድትጠይቅ አለማስገደዱ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ጡሩምባ ነፊው በሰፈሩ እየዞረ ይለፍፋል። ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ብረት ድስቱ ይወጣል። የሴቶቹ ዕድር እንጀራና ወጥ ይዞ ይመጣል፤ ዕቃ ያጥባል፤ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። የቀረ ይቀጣል። ሐዘንተኛዋ ግን አንድም ሰው ዘንድ ሄዳ «እባክሽ» አላለችም። የእሷን ጥያቄ ጡሩምባው ጠይቆላታል፤ መብቷም በየወሩ በከፈለችው መዋጮ አስቀድሞ ተጽፏል።

ዕድር ያልደረሰበት ችግር

ዕድር ግን ለሞት እንጂ ለሕመም የተሠራ አልነበረም። ታማ ለተኛች ሴት ጡሩምባ አይነፋም። ይህ ጉድለት በግልጽ የታየው በኤችአይቪ ዘመን ነው። በሽታው በአገራችን ከታወቀበት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የታመመ ሰው ቤቱን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር። ጎረቤት እንዳይሰማ፣ አከራይ እንዳያስወጣ፣ ልጆች እንዳይገለሉ ሲባል ሕመሙ ሌላ ስም ይሰጠው ነበር። አስታማሚዎቹ ብዙውን ጊዜ ሴቶች ነበሩ፤ እነሱም እርዳታ ለመጠየቅ አፋቸው ተይዞ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው አባባል እንደዚያ ዘመን እውነት ሆኖ አያውቅም።

ዝምታውን ለመስበር ሁለት ነገሮች ረዱ። አንደኛው፣ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች እንደ መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎሕ ያሉ ማኅበራትን ማቋቋማቸው ነው። «አለብኝ» ብሎ በአደባባይ የተናገረ ሰው ሲታይ ሌላው ለመናገር ሰው አገኘ። ሁለተኛው ከዕድሮቹ የመጣ ነው። ቀብር ሲበዛ የዕድር ካዝና ተራቆተ። ዳኞቹም ለሬሳ ከምናወጣ ለምን በሕይወት ሳሉ አንረዳም ማለት ጀመሩ። በ1990ዎቹ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በርካታ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው ታማሚ የሚጎበኝ፣ ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች የሚደርስ ክፍል አደራጁ። በጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ ጠያቂ ጎረቤት ያላት ሴት ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ የሚደግፋት ክንድ ነበራት።

እዚህ ላይ የተለወጠው የሰው ድፍረት ብቻ አይደለም። ደንቡ ተለወጠ። «ሕመም» የሚል ቃል በደንቡ ውስጥ ስለገባ፣ ታማሚዋ ልመና ሳይሆን በደንቡ የተጻፈ ጉዳይ ይዛ መምጣት ቻለች።

ከታካሚነት ወደ ሐኪምነት

ሌላ ታሪክ እንጨምር። ልዕልት ፀሐይ በእንግሊዝ አገር ነርስነት ተምራ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነቷ አረፈች። ሲልቪያ ፓንክረስት በመታሰቢያዋ ሆስፒታል እንዲሠራ የአገሯን ሕዝብ ገንዘብ ጠየቀች፤ አሰባሰበችም። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው በዚያ መታሰቢያነት የተሠራው ነው። በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤቷ ዶክተር ሬጅናልድ ሃምሊን ሊሠሩ የመጡት ወደዚሁ ሆስፒታል ነው።

እዚያ ያገኟቸው በፊስቱላ የተጎዱ ሴቶች ነበሩ። ምጥ ለቀናት ጸንቶባቸው ልጃቸውን ያጡ፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው፣ አብዛኞቹም ባላቸው የተዋቸው ነበሩ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ስለሚያጡ ከቤት መውጣት ራሱ ፈተና ነበር። ከእነሱ የበለጠ እርዳታ ለመጠየቅ ያፈረ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ሕክምናው በነጻ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ለእነሱ ብቻ የሚሆን የፊስቱላ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተከፈተ። ከዳኑት ሴቶች ብዙዎቹ እዚያው ረዳት ነርስ ሆነው ቀሩ። አዲስ ታካሚ አንገቷን ደፍታ በበሩ ስትገባ የሚቀበላት ያው ሕመም የነበረባት ሴት ናት። ማሚቱ ጋሼ በታካሚነት ገብታ፣ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራት፣ በሥራ ላይ ተምራ በዓለም የታወቀች የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆናለች።

ዛሬ የተረዳች ሴት ነገ ረጂ እንደምትሆን ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገንም።

ከዚህ ምን እንውሰድ?

እኛ በየዓመቱ ለደጋፊዎቻችን ደብዳቤ እንጽፋለን፣ በጀት እናያይዛለን፣ እርዳታ እንጠይቃለን። ይህን ስናደርግ አናፍርም። ምክንያቱ ደፋሮች መሆናችን አይደለም። ቅጽ፣ ቀነ ገደብና ሪፖርት ስላለን ነው። ታዲያ ለማኅበሩ ያዘጋጀነውን መንገድ ለአባሎቻችን ለምን እንነፍጋቸዋለን?

ስለዚህ ከታሪኩ አራት ነገር ወስደን ለውይይት እናቀርባለን።

ከወንፈል፦ የተረዳች አባል ገንዘብ ባይኖራት በጉልበት የምትመልስበት መንገድ ይኑር። የጽዳት፣ የልጅ ጥበቃ ወይም የስብሰባ ዝግጅት ቀን ተቆጥሮ በመዝገብ ይያዝላት።

ከዕቁብ፦ ከብድር መክፈያ ቀኗ በፊት ለሰብሳቢዋ የነገረች አባል ቅጣት አይድረስባት። ከቀኑ በፊት የመጣ ጥያቄ በሒሳባችን ማራዘሚያ ነው፤ ከቀኑ በኋላ የሚቀጥል ዝምታ ግን የተበላሸ ብድር ይሆናል።

ከዕድር፦ ሁለት ስብሰባ በተከታታይ የቀረች አባልን ለቅጣት ሳይሆን ለጥየቃ ሁለት ሴቶች ይሂዱላት። ጡሩምባውን እነሱ ይንፉላት።

ከደቦ ጉድለት ደግሞ፦ ድግስ መደገስ ያቃታትን እናስብ። ምንም የምትመልሰው የሌላት አባል የምትረዳበት ጥቂት ገንዘብ ከወር መዋጮው ለብቻው ይቀመጥ፤ የተረዳችውም ስሟ ከሰብሳቢዋና ከሒሳብ ሹሟ ውጪ አይነገር።

እነዚህ ሐሳቦች በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባሉ። ደንባችን ውስጥ ምን ምን ችግር በስሙ ተጽፎ እንዲገባ እንደምትፈልጉ አስቡበት፤ በእጅ ጽፋችሁም ሆነ በቃል ለቡድን መሪዎቻችሁ ንገሩ። መናገር የሚከብዳት አባል ካለች ጎረቤቷ ትናገርላት።