ከእልልታ እስከ ወፌ ቆመች

አንድ ሕፃን የእናቱን ቀሚስ ወይም የመደቡን ጠርዝ ጨብጦ ከቆየ በኋላ፣ እጁን ለቆ፣ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት እግሩ ሲቆም ያየ ሰው ሁሉ፣ ባላገርም ይሁን ከተሜ፣ ሊቅም ይሁን ማይም፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» ማለቱ አይቀርም። ይህች የደስታ ቃል ለጨዋታ ብቻ የተፈጠረች ትመስላለች፤ ነገር ግን ለሚያስተውላት ሰው፣ ሚዛንና ሜትር ባልነበረበት ዘመን እናቶቻችን የልጃቸውን ዕድገት ይሰፍሩባቸው ከነበሩት መስፈሪያዎች አንዷ ናት። ከልደቱ እልልታ ጀምሮ እስከዚህች ቃል ድረስ ያለውን ዓመት በቀን ቍጥር፣ በሥርዓትና በስም ከፋፍለው ያወቁት እነርሱ፣ አንድም መጽሐፍ ሳይጽፉ ያወረሱን ዕውቀት ምን እንደ ነበረ፣ ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጠፋ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው፤ የሚናገረውም በተለይ በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ደጋ በክርስቲያኑ ሕዝብ ዘንድ ስለቆየው ልማድ ነው።

እናት ምጥ በያዛት ጊዜ የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ እመቤታችንን ይማጠናሉ፤ የልምድ አዋላጇም ሕፃኑን ተቀብላ እትብቱን ስትቈርጥ እልልታው ይቀልጣል። የእልልታው ቍጥር ለወንድ ልጅ በዝቶ ለሴት ልጅ ያንስ ስለ ነበር፣ ወደ ውስጥ መግባት ያልተፈቀደለት አባት በደጅ ቆሞ በመቍጠር ብቻ የተወለደለትን ያውቅ ነበር። ወዲያው ገንፎ ተገንፍቶ፣ መካከሉ ተጎድጕዶ ቅቤና በርበሬ ፈሶበት ይቀርባል፤ ሴቶቹም እየበሉ ወላዷን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏታል። አጥሚቱና አብሹም ለእርሷ ብቻ የሚዘጋጅ ነው፤ ምክንያቱም የሕፃኑ እንጀራ በእናቱ ጡት ውስጥ እንዳለ፣ እርሷ ካልጠገበች እርሱም እንደማይጠግብ በቃል ሳይሆን በሥራ የታወቀ ነበርና።

ከዚህ በኋላ የቀን ቍጥር ይጀመራል። ወንዱ ልጅ ለአብርሃም በተሰጠው ሥርዓት መሠረት በ8ኛው ቀን ይገረዛል፤ ጥምቀቱ ግን ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው። ይህም ቍጥር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየልን መጽሐፈ ኩፋሌ በምዕራፍ 3፣ አዳም በተፈጠረ በ40 ቀን፣ ሔዋን ደግሞ በ80 ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ይተርካል፤ ኦሪት ዘሌዋውያንም በምዕራፍ 12 ወንድ የወለደች እናት 7 ቀንና 33 ቀን፣ ሴት የወለደች 14 ቀንና 66 ቀን ቈይታ ወደ መቅደስ እንድትቀርብ ያዝዛል። ቤተ ክርስቲያናችን እነዚህን ሁለቱን አስተባብራ፣ ሕፃኑ የሚጠመቅበትን ቀን አዳምና ሔዋን ወደ ገነት ከገቡበት ቀን ጋር አንድ አደረገችው። በዚያ ቀን ሕፃኑ ተጠምቆ ሜሮን ይቀባል፤ ማተብ ታስሮለት፣ የክርስትና ስም ወጥቶለት፣ ሥጋውንና ደሙን ይቀበላል፤ ወንዱን የክርስትና አባት፣ ሴቷን የክርስትና እናት አንሥተው ዋስ ይሆኑላቸዋል። እንግዲህ ያ ሕፃን አንገቱን እንኳ በቅጡ ሳያጸና ስም፣ ወገንና ሃይማኖት ያለው ሰው ሆኖ ይቈጠራል ማለት ነው።

የዚህ ሥርዓት ምሥጢሩ ሰማያዊ ቢሆንም በምድር ያስገኘው ፍሬ ቀላል አልነበረም። እነዚያ 40 ወይም 80 ቀናት እናቲቱ ውኃ ሳትቀዳ፣ ሳትፈጭ፣ እንጨት ሳትሸከም፣ በአራስ ቤት ተኝታ፣ በዘመድና በጎረቤት እጅ እየተጦረች ልጇን የምታጠባባቸው ቀናት ነበሩ፤ ምንም እንኳ ድኻይቱ ሁሉንም ቀን ለመፈጸም ሁልጊዜ ባትታደል፣ ሕጉ ግን የእርሷም ነበረ። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ሲሰጥ፣ ከጥንቱ የአራስ ቤት ሥርዓት ብዙ ያልራቀ ቍጥር ላይ መድረሱን ሳስብ እጅግ እደነቃለሁ።

ከአራስ ቤት የወጣ ሕፃን ዓለምን የሚያየው ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ነው። አንቀልባው ከለሰለሰ ቆዳ ተሠርቶ፣ በጠፍር ማሰሪያ ከወገብና ከትከሻ የሚታሰር፣ አቅም ባለው ቤት በዛጎልና በጨሌ የሚያጌጥ የእጅ ጥበብ ሥራ ነበር። ሕፃኑ በእርሱ ውስጥ ሆኖ የእናቱን ትንፋሽ እየሰማ፣ ወፍጮው ሲያጕረመርም፣ ገበያው ሲንጫጫ፣ ካህኑ ሲቀድስ እያዳመጠ ይውላል፤ ሲያለቅስም በዚያው እሹሩሩ እየተባለ ይባበላል።  ማታ ደግሞ በለብታ ውኃ ታጥቦ በቅቤ ይታሻል፤ ክንዱና እግሩ እየተሳበ ይፍታታል፤ ጭንቅላቱና አፍንጫውም እንዲያምር በመዳፍ ይዳበሳል።

እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው የቋንቋውን ጥንቃቄ ነው። በመጀመሪያው ወር ሕፃኑ በእንቅልፉ ፈገግ ሲል «መላእክት እያጫወቱት ነው» ይባላል፤ ነቅቶ ዓይኑን በሰው ፊት ላይ ተክሎ የሳቀ ጊዜ ግን «ሰው ለየ» ይባልለታል። በዚህም እናቶቻችን በእንቅልፍ ልብ የሚመጣውን ፈገግታና አውቆ የሚስቀውን ሣቅ፣ የዛሬ ሐኪሞች እንደሚለዩት ለይተውታል። ቀጥሎ «አንገቱ ጸና» ይባላል፤ ይህም ቃል እስኪነገር ድረስ ልጁን በማንኛውም እንግዳ እጅ መስጠት አይገባም። ከዚያ ተገላበጠ፣ ያለ ድጋፍ ተቀመጠ፣ ጥርስ አበቀለ፣ ዳኸ፣ ዳዴ አለ፣ ወፌ ቆመች ተባለለት፤ በመጨረሻም ድክ ድክ አለ። አንደበቱን ስለ መጀመሩ «አፉን ፈታ» ይባላል፤ የትውልድ ቋንቋን «አፍ መፍቻ» የምንለውም ከዚሁ ተነሥተን ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ስም ስለ ነበረው የዘገየ እርምጃ ሳይታወቅ አይቀርም ነበር፤ ጎረቤቲቱ «አልዳኸም እንዴ?» ብላ ስትጠይቅ ያ ጥያቄ ራሱ እንደ ምርመራ ነው።

የዓለም ሊቃውንትም ይህን ነገር በሰፊው መርምረው ጽፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ሕፃናትን አስከትሎ አስጠንቶ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መስፈርት፣ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ ብቻን መራመድ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የሚደረስበት ሆኖ ተገኝቷል፤ ከሕፃናቱም 4.3 በመቶ የሚሆኑት በእጅና በጉልበታቸው ሳይድኹ ተነሥተው ሄደዋል። ልማድም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው፤ ቻርልስ ሱፐር የተባለው ተመራማሪ በጎረቤታችን በኬንያ በኪፕሲጊስ ሕዝብ መካከል ያደረገውን ጥናት በ1976 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን መቀመጥና መራመድ ሆን ብለው እንደሚያስተምሯቸው፣ ልጆቹም በእነዚያ በተማሩት ነገሮች እንደሚቀድሙ፣ ባልተማሩት በመዳህ ግን እንደማይቀድሙ አስረድቷል። እንግዲህ በሕፃን ፊት እጅ ዘርግቶ «ወፌ ቆመች» ማለት ከደስታ መግለጫነቱ ሌላ ትምህርት መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ሁሉ ማመስገን ታሪክ መጻፍ አይደለም። ያ የመጀመሪያ ዓመት የሞት ዓመትም ነበረ፤ ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ እያልን የምንጠራቸው ስሞች ብዙውን ጊዜ ከሞተ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት በኋላ ለተወለደ ልጅ የወጡ የኀዘን መዝገቦች ናቸው። ከሞቱም ምክንያቶች መካከል በፍቅር የተደረገ ስሕተት ነበረበት። የመጀመሪያው ወፍራም የጡት ወተት፣ እንገር የምንለው፣ ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ሆኖ ሳለ ቆሻሻ ነው ተብሎ ታልቦ ይደፋ ነበር፤ በምትኩም አራሱ ሕፃን ለጋ ቅቤ እንዲውጥ ይደረግ ነበር። ልጁ ተቅማጥ ወይም ትኵሳት ሲይዘው ግግ ነው ተብሎ ድዱ ይፈለፈላል፤ ጕሮሮው ሲያብጥ እንጥሉ ይቈረጣል፤ ባልጸዳ ብረትም ደሙ ይፈስሳል፣ ቍስሉም ይመረቅዛል። ሴቷን ልጅ መግረዝ ምንም የሃይማኖት ትእዛዝ ሳይኖርበት ለብዙ ዘመን የዘለቀ በደል ነው፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም በቅጣት ከልክሎታል።

ከእነዚህ ሁሉ የረቀቀው ጉዳት ግን የፀሐይ ክልከላ ነው። ቡዳ እንዳይበላው፣ ምች እንዳይመታው ተብሎ አንዳንዱ ሕፃን ለብዙ ወራት ተሸፋፍኖ በጨለማ ቤት ይቀመጥ ነበር፤ አጥንትን የሚያጸናው ቪታሚን ዲ ደግሞ በሰውነት ውስጥ የሚፈጠረው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኝ ነው። የ13 ወር ፀሐይ ባለበት አገር በአዲስ አበባ ይሠሩ የነበሩ የሕፃናት ሐኪሞች ሪኬትስ የሚባለውን አጥንት የሚያላላ በሽታ በብዛት ሲያገኙ መደነቃቸው ስለዚህ ነበር። እግሩ የቈለመመ፣ ደረቱ የጠበበ ሕፃን በዓመቱ ሊቆም አልቻለም፤ ከቡዳና ከምች ልትጠብቀው የሸፈነችው እናት ወፌ ቆመች የምትልበትን ቀን ባለማወቅ አራቀችው።

የሕፃናትን ዕድገት በሚዛንና በሜትር መለካት በአገራችን የተስፋፋው ከጣልያን ወረራ በኋላ በተቋቋሙት ትምህርት ቤቶችና የሕክምና ስፍራዎች አማካይነት ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችንና ነርሶችን አሠልጥኖ ወደ ገጠሩ ላከ፤ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር በአዲስ አበባ የሕፃናት ሕክምና ስፍራ ተቋቋመ፤ በዚሁ ትብብር በ1950ዎቹ ዓመታት የተመሠረተው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍልም ከስንዴ፣ ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተርና ከወተት ዱቄት የተቀመመ የሕፃን ምግብ አዘጋጀ። ስሙንም «ፋፋ» አሉት፤ ወፈረ፣ ለመለመ ማለት ነውና ከእናቶች አፍ የተወሰደ ስም በመሆኑ እስከ ዛሬ አልተረሳም። በዚያው ዘመን አካባቢ እንግሊዛዊው ሐኪም ዴቪድ ሞርሊ በናይጄሪያ ገጠር ሲሠራ የሕፃኑ ክብደት በየወሩ የሚመዘገብበትን ካርድ አስፋፋ። ሕፃን በአምስትና በስድስት ወሩ የልደቱን ክብደት እጥፍ፣ በዓመቱ ሦስት እጥፍ ያደርሳል፤ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ የተወለደውም 75 ገደማ ይደርሳል። የካርዱ መስመር መውጣቱን ትቶ ሲጋደም ዓይን ገና ያላየውን ችግር አስቀድሞ ይናገራል፤ ይህን የሚያህል ጥቅም ከጎረቤት ጥያቄ ሊገኝ አይችልም ነበር።

ቀጥሎም አዲስ የቀን ቍጥር መጣ። በ1972 ዓ.ም. የተጀመረው የክትባት መርሐ ግብር ሕፃናት በልደት፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ9ኛው ወር እንዲከተቡ አዘዘ፤ እናቶችም የ6ኛውን ሳምንት ክትባት «የአርባ አምስት ቀን» ብለው ከአርባው ቀን ክርስትና ጎን አስቀመጡት። በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ሚዛኑን ወደ መንደር አደረሱት። በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ሕፃናት 97ቱ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ የነበረው፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ 48 ዝቅ ብሏል፤ ሆኖም በዚያው ዓመት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 38 በመቶ ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች ሆኖ ተገኝቷልና ሥራው ተፈጽሟል አንልም።

አበው «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብለዋል፤ ይህ ተረት ልጁ ለሞተባት እናት መጽናኛ እንጂ ላለላት እናት መመሪያ ሊሆን አይገባውም። ይህ ታሪክ የሚያስረዳን ልጅ በሚያስተውሉት ሰዎች መካከል እንደሚያድግ ነው፤ አያቶቻችን በቃል አስተውለዋል፣ ሐኪሞቻችን በሚዛን ያስተውላሉ፣ ሁለቱም ለአንድ ሕፃን ናቸው። ስለዚህ የጤና ባለሙያ እናትን ሲጠይቅ በባዕድ ቃል ሳይሆን «አንገቱ ጸና? ዳኸ? አፉን ፈታ?» ብሎ ይጠይቃት፤ እናትም የጧት ፀሐይንና እንገሯን ለልጇ አትከልክል። አንተም አንባቢ፣ እናትህ ወይም አያትህ በሕይወት ካሉልህ በስንት ወርህ እንደ ቆምህ፣ በምን ቃል እንደ ተቀበሉህ ዛሬውኑ ጠይቀህ በመዝገብ ጻፈው።