ከእጅ ወደ እጅ፦ በናይሮቢ የዞሩ መጻሕፍትና ካሴቶች ታሪክ

የኢዮቤልዩ መጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ማኅበራችን መጻሕፍት መደርደሪያ አጠር ያለ ታሪክ እንድናቀርብ ሲጠይቀን፣ በመጀመሪያ ያሰብነው መደርደሪያው እንዴት እንደ ተሠራና ምን ምን እንደያዘ ለመግለጽ ነበር። ይህ ግን ከግማሽ ገጽ አያልፍም። ከመደርደሪያው በስተጀርባ ያለው ታሪክ ከማኅበሩም በዕድሜ ይበልጣል። ይኸውም ብዙ ሰው «ይኼ ደግሞ ምኑ ይነበባል? ምኑስ ይደመጣል?» ይላቸው የነበሩትን መጻሕፍትና ሙዚቃዎች ጥቂት ሰዎች እየተቀባበሉ እዚህ ያደረሱበት ታሪክ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው አዲስ አበባ ነው። በ1962 ዓ.ም. ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን አሳተመ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ደብረ ሲና አካባቢ ወርዶ ከባላገሩ ኑሮ ጋር ሲጋጭ የሚያሳይ ልብ ወለድ ሲሆን፣ የተጻፈው እስከዚያ ድረስ አንባቢ በለመደው የትረካ መንገድ አልነበረም። የሸዋ ገጠር አነጋገር እንዳለ ገብቶበታል፤ ገጸ ባሕርያቱ ሳይቸኩሉ ይከራከራሉ፤ ደራሲውም መጥቶ «ነገሩ እንዲህ ነው» አይልም። ገዝተው ያልጨረሱት ብዙዎች ናቸው። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ የሰሎሞን ደሬሳ «ልጅነት» ወጣ። የተለመደውን የቤት አመታትና የስንኝ አደራረግ ስላልተከተለ «ይህ ግጥም ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ክርክር አስነሣ። በዚያው ዘመን ገደማ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የጻፈው «ሌቱም አይነጋልኝ» የአዲስ አበባን የሌሊት ሕይወት ያለ ሽፋን የሚናገር በመሆኑ ለአሥርት ዓመታት ሳይታተም በቅጂ ብቻ ሲዞር ኖረ። ከጋሽ ስብሐት አንባቢዎች ብዙዎቹ ያነበቡት መጽሐፍ ሳይሆን ጠርዙ የተጨማደደ የወረቀት ጥራዝ ነበር።

በሙዚቃውም ተመሳሳይ ነገር እየሆነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ድንጋጌ ሸክላ ማስቀረጽንና ማስመጣትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የፈቀደ ነበር። በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው አምሃ እሸቴ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በህንድ አገር አሳትሞ አመጣ። ያሰሩኛል ወይ ብሎ ባይጠብቅ ኖሮ ዛሬ የምናደንቃቸው ብዙዎቹ ሸክላዎች ባልኖሩ ነበር። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላዎችን አወጣ፤ ሙላቱ አስታጥቄ በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «የካቲት» የተሰኘው የኢትዮ ጃዝ አልበምም ከእነዚሁ አንዱ ነው። እዚህ ናይሮቢ ለምንኖረው ደግሞ አንድ የሚያስደስተን ነገር አለ፤ አምሃ የከፈተው የሙዚቃ ሱቅ ስሙ «ሐራምቤ» ነበር። ከአምሃ በኋላ ደግሞ ታንጎ እየተባለ የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ካይፋ በራሱ ስም በሚጠራው ማሳተሚያ የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» እና የዋልያስ ባንድን «ቸ በለው» የመሳሰሉትን አሳተመ።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። አምሃ በ1975 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ሸክላ ቀርቶ ካሴት ተተካ፤ የሰዓት እላፊ አዋጅም የሌሊቱን ጨዋታ በሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቆለፈው። ብዙ ወገን በሞያሌ በኩል፣ ሌላውም በሱዳንና በጅቡቲ ተሰደደ። ናይሮቢ የደረሰው ሰው በአንድ ቤት ቢኖርም በአንድ ልብ አልነበረም። አንዱ ከኢሕአፓ፣ አንዱ ከመኢሶን፣ ሌላው ከየትኛውም ያልነበረ፣ ግን በሁሉም የተጎዳ። ወንድሙን ማን አሳልፎ እንደ ሰጠ የሚጠረጥር ሰው ከተጠርጣሪው ጋር በአንድ ቡና ቤት ይቀመጥ ነበር፤ አንዳንዴም ትቶ ይወጣ ነበር። ልጆቻችን ይህን ሳያውቁ ስለ መደርደሪያው ቢያነቡ የሚገባቸው አይመስለንም።

በዚህ መካከል ነው ልውውጡ የተጀመረው። ማን እንደ ጀመረው ብንጠይቅ ሦስት ሰዎች «እኔ ነኝ» ይላሉ፤ ሦስቱንም እንቀበላለን። ደንቡ ቀላል ነበር። አንድ የወሰደ አንድ ያመጣል። የሚያመጣው ዕቃ ገበያ ላይ በቀላሉ የማይገኝ መሆን አለበት፤ ሁሉም ቤት ያለውን ካሴት ይዞ መምጣት አይቆጠርም። በሽፋኑ ጀርባ የተዋሰው ሰው ስም ይጻፋል። ከአንዳንድ መጽሐፍ ጀርባ ላይ የተደረደሩትን ስሞች ዛሬ ስናነብ፣ በፖለቲካ ምክንያት ለዓመታት ሰላምታ ያልተለዋወጡ ሁለት ሰዎች ስማቸው ተከታትሎ ሰፍሮ እናገኛለን። አንዱ መልሶ አንዱ ወስዷል ማለት ነው። በእጃቸው ባይቀባበሉ እንኳ በሦስተኛ ሰው በኩል «አደፍርስን ጨርሶ እንደሆነ ጠይቅልኝ» መባባል ነበረ። ይህንንም በዕርቅ ስም አንጠራውም፤ ዕርቅ አልነበረምና። ግን ስለ ጺወኔ ባሕርይ የተከራከሩ ሰዎች ከዚያ በኋላ በለቅሶ ቤት አብረው መቀመጥ አላቃታቸውም።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነገር ለብቻው መነገር አለበት። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቤቱ እንደ ወጣ ጠፋ። «ኦሮማይ» በአጻጻፉ እንግዳ የሆነ መጽሐፍ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ሰው አንብቦ የሚረዳው ነው። በልውውጡ ውስጥ የገባው በአደጋው ነው። እዚህ የደረሰው ቅጂ ሽፋን አልነበረውም፤ በጋዜጣ ተለብጦ ነበር። በስደትም ሆኖ ማን ምን እንደሚያነብ የሚከታተል አለ ተብሎ ስለሚፈራ፣ ከጀርባው ስም አልተጻፈበትም። ከመደርደሪያችን መጻሕፍት ሁሉ ማን እንዳነበበው የማናውቀው ብቸኛው ይህ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ እንደገና ታተመ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ስለወጣ አማርኛ ማንበብ የማይችሉ ልጆቻችን አሁን ሊያነቡት ይችላሉ።

ካሴቱ ከመጽሐፍ ይልቅ ቶሎ ይዛመታል፤ ቶሎም ይበላሻል። ከሞያሌ የሚመጣ ነጋዴ ወይም ሾፌር ከጫት፣ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ካሴት ያመጣል። ባለ ሁለት ማጫወቻ ቴፕ ያለው ሰው ቤት ይወሰድና በባለ 60 ወይም በባለ 90 ደቂቃ ባዶ ካሴት ይገለበጣል። የግልባጭ ግልባጭ ሲሆን ድምፁ እየደከመ፣ ሹክሹክታው እየበረታ ይሄዳል። ከሁሉ ያስቸገረው የርዕስ ነገር ነበር። ግጥም የሌለው የመሣሪያ ሙዚቃ ሲገለበጥ ገልባጩ ርዕሱን ስለማያውቅ የፈለገውን ይጽፋል። ስለዚህ የኃይሉ መርጊያ አንድ ዜማ በእኛ ዘንድ «የዝናቡ» እየተባለ ይጠራ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የሚያስታውስ የለም። እስከ ዛሬም በሰርግ ላይ «የዝናቡን አስገባ» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ።

የዚህ ሁሉ ዋጋ አልነበረም ማለት አይደለም። ለተገለበጠ ካሴት ድምፃዊውም፣ ዜማ ደራሲውም፣ አሳታሚውም ሳንቲም አያገኙም። ኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን አዋጅ ያወጣችው በ1996 ዓ.ም. ሲሆን፣ በስደት ላለ ገልባጭ ግን አዋጁ ከመምጣቱም በፊት ሆነ በኋላ የሚቆጣጠረው አልነበረም። በአንድ በኩል ሙዚቃው ያለ ግልባጩ እዚህ አይደርስም ነበር፤ በሌላ በኩል ያዘጋጀው ሰው ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። ይህን የምንለው ለምሳሌ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ሄዶ ከቀረ በኋላ በዋሺንግተን አካባቢ በታክሲ ሾፌርነት ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮንና ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ብቻውን እየተጫወተ የቀረጸው «ሸሞንሟናዬ» በካሴት ወጥቶ ነበር። አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶት በ2013 እ.ኤ.አ. በስምምነት እንደገና ሲያሳትመው ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። ከናይሮቢው ግልባጭ የሚለየው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ስምምነት ነው።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶም እንዲሁ በ1984 እ.ኤ.አ. በአንድ ግብዣ ላይ የማሕሙድን ሸክላ በአጋጣሚ ከሰማ በኋላ ነው በነጋታው ዓመት ወደ አዲስ አበባ የመጣው። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በፓሪስ የወጣው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ከዚያ የተወለደ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የጂም ጃርሙሽ ፊልም የሙላቱን ዜማዎች ሲጠቀም፣ ናይሮቢ ያደጉ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ሰምተው መጡና «ይህን ታውቃላችሁ ወይ?» ብለው ጠየቁን። አባቶች ሣቁ፤ አንዳንዱም ተቆጣ። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች በዚሁ ተከታታይ ወጡ። እማሆይ የመጀመሪያ ሸክላቸውን በ1967 እ.ኤ.አ. በጀርመን አሳትመው ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም አርፈዋል። የሌሊት ክበብ ሙዚቃ ቤታቸው እንዳይገባ የሚከለክሉ እናቶቻችን የእማሆይን ዲስክ ግን ራሳቸው ተዋሱት፤ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ስም የሰፈረበትም እርሱ ነው።

ወደ መጻሕፍቱ ስንመለስ፣ የቅርቡ ትልቁ ክርክር የአዳም ረታ ነው። ከ«ማህሌት» ጀምሮ የተከተሉት አሉ፤ «ግራጫ ቃጭሎች» በ1997 ዓ.ም. ሲወጣ የተቀላቀሉም አሉ። አዳም ሕጽናዊነት ብሎ የሰየመው የአጻጻፍ ስልት ከእንጀራ ዓይኖች የተነሣ ነው፤ ታሪኮቹ እንደ ዓይኖቹ የተለያዩ ቢመስሉም ውስጥ ለውስጥ ይያያዛሉ። በ«እቴሜቴ ሎሚ ሽታ» የግርጌ ማስታወሻዎች ላይ አንድ ምሽት ሙሉ ተከራክረናል፤ ግማሾቻችን ዘለን አለፍናቸው፤ ግማሾቻችን ዋናው ታሪክ እዚያ ነው አልን። እኛ ሁለተኛው ወገን ነን። በአጋጣሚ በዚሁ ዘመን፣ በ2003 እ.ኤ.አ.፣ ቢንያቫንጋ ዋይናይና እና ጓደኞቹ «ክዋኒ?» የተባለውን መጽሔት እዚህ ናይሮቢ ጀመሩ። ሸንግ የሚባለውን የከተማ ልጆች ቋንቋ ሳያፍር ያትም ነበር። ልጆቻችን ይህን ሲያመጡ፣ ዳኛቸው የገጠሩን አነጋገር እንዳለ በመጻፉ ምን እንደ ተባለ አወጋናቸው። ከዚያ በኋላ «አደፍርስ»ን ጮክ ብለን ለእነርሱ ማንበብ ተጀመረ፤ ፊደል ስለሚከብዳቸው እኛ እናነባለን፣ እነርሱ ይጠይቃሉ።

የኬንያው ነገር በሙዚቃም ብዙ አስተምሮናል። ሪቨር ሮድ የትንንሽ አሳታሚዎችና የካሴት ሱቆች መንገድ ነበር፤ ታላቁ የኪኩዩ ዘፋኝ ጆሴፍ ካማሩም የራሱን ሥራ በራሱ ያሳትምና ይሸጥ ነበር። እርሱ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲሞት ስሙን የወረሰው የልጅ ልጁ፣ በኬ ኤም አር ዩ ስም የሚታወቀው የሙከራ ሙዚቃ ባለሙያ፣ የአያቱን ዘፈኖች አንድ በአንድ እያጸዳ በባንድካምፕ ማውጣት ቀጠለ። አንድ የማኅበራችን ወጣት ይህን ነግሮን ነው የእኛን ካሴቶች ወደ ኮምፒዩተር የማስገባቱ ሥራ የተጀመረው። ዘዴው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ካሴቱ በእውነተኛው ጊዜ መጫወት አለበት፣ የ90 ደቂቃ ካሴት 90 ደቂቃ ይወስዳል። የሻገተው ሪባን ይጠረጋል፤ የተበጠሰው ይቀጠላል፤ የተጣበቀው ግን ብዙ ጊዜ አይድንም። የሚገለበጠው ለማኅበሩ መዝገብ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ያሳተመው ካለ ይገዛል።

ከመደርደሪያው የጎደሉትም አሉ። «ልጅነት» ተወስዶ አልተመለሰም፤ የመጨረሻው ስም በሌላ ወረቀት ላይ ስለነበረ ማን ጋር እንዳለ አይታወቅም። ሰሎሞን ደሬሳ በአሜሪካ ሳለ በ1990ዎቹ ያሳተመው «ዘበት እልፊቱ» ግን በቦታው አለ። «የዝናቡ» የሚለው ካሴት ዋናው ግልባጭ ጠፍቷል፤ የቀረው ሁለተኛው ገጽ ብቻ ነው። በቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ዝናቡ፣ ሀ» ተብሎ የተጻፈበት ካሴት ካለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ክፍት ነው።