የጅቡቲ ወደብ መዘመንና የየብስ መስመሩ ድርሻ በኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ

ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚስተናገደው በጅቡቲ ወደቦች በኩል ነው። ማዳበሪያ፣ ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ የግንባታ ዕቃና የፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ወደ አገር ውስጥ የሚገባው፣ ቡናና የቅባት እህል ወደ ውጭ የሚላከው በአብዛኛው በዚሁ መስመር ነው። በመሆኑም በወደቡ ላይ የሚፈጠር የአንድ ሳምንት መዘግየት በአርሶ አደሩ ማሳ፣ በፋብሪካዎች ምርትና በመንግሥት የውጭ ምንዛሪ ወጪ ላይ በቀጥታ ይንጸባረቃል።

ጅቡቲ ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በከተማዋ መካከል የሚገኘውን አሮጌ ወደብ የሚያግዙና የሚተኩ ዘመናዊ ወደቦችን ገንብታለች። የእነዚህ ዓመታት ልምድ የሚያሳየው ግን የወደብ መጨናነቅ በባሕር በኩል በሚደረግ ግንባታ ብቻ እንደማይወገድ፣ ጭነቱ ከወደብ የሚነሳበት ፍጥነትም የዚያኑ ያህል ወሳኝ መሆኑን ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ከአሰብ ወደ ጅቡቲ

የጅቡቲ ወደብ ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ትስስር ከባቡር መስመሩ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ወደቡ የአገሪቱ ዋነኛ የንግድ በር ለመሆን በቃ። ከጊዜ በኋላ የአሰብ ወደብ እየተስፋፋ ሲሄድ አብዛኛው የኢትዮጵያ ጭነት ወደዚያ በመዞሩ የጅቡቲ ድርሻ አነስተኛ ሆኖ ቆይቷል።

ይህ ሁኔታ የተለወጠው በግንቦት 1990 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲቀሰቀስ ነው። ኢትዮጵያ በአሰብና በምጽዋ መገልገሏ በመቋረጡ ቀደም ሲል በሦስት ወደቦች ይስተናገድ የነበረው ጭነት በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ጅቡቲ ተዛወረ። አሮጌው ወደብ በአንድ በኩል በባሕር፣ በሌላ በኩል በከተማው የተከበበ በመሆኑ የማስፋፊያ ቦታ አልነበረውም። የባሕሩ ጥልቀትም በዓለም የመርከብ ድርጅቶች አገልግሎት ላይ እየዋሉ ለመጡት ግዙፍ የኮንቴይነር መርከቦች አይበቃም ነበር።

የጅቡቲ መንግሥት በ1992 የወደቡን አስተዳደር በኋላ ዲፒ ወርልድ ተብሎ ለተሰየመው የዱባይ ድርጅት በኮንትራት ሰጠ። ኢትዮጵያና ጅቡቲ ደግሞ በ1994 የወደብ አጠቃቀምንና የተላላፊ ጭነት አገልግሎትን የሚመለከት ስምምነት በመፈራረም ግንኙነታቸውን ሕጋዊ መሠረት አስያዙ።

የዶራሌ ግንባታዎች

አዲሱ የማስፋፊያ ሥራ የተካሄደው ከከተማው በስተ ምዕራብ በሚገኘው በዶራሌ አካባቢ ነው። በቅድሚያ የነዳጅ ተርሚናል የተገነባ ሲሆን፣ በ2001 ደግሞ የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል ሥራ ጀመረ። ተርሚናሉ 1 ሺህ 50 ሜትር ርዝመት ያለው የመርከብ ማቆሚያና 18 ሜትር የባሕር ጥልቀት ያለው ሆኖ፣ በዓመት 1 ነጥብ 2 ሚሊዮን ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነሮችን እንዲያስተናግድ ታስቦ የተሠራ ነው።

የጥልቀቱ ጉዳይ ለኢትዮጵያ አስመጪዎችም ትርጉም አለው። ወደቡ ጥልቀት ሲያንሰው ትልልቅ መርከቦች ጭነታቸውን በሌላ ወደብ አራግፈው በትንንሽ መርከቦች እንዲገለበጥ ያደርጋሉ። ይህም ተጨማሪ ጊዜና ክፍያ ያስከትላል። ትልልቆቹ መርከቦች በቀጥታ መድረስ ሲችሉ የአንድ ኮንቴይነር የማጓጓዣ ዋጋ የመቀነስ ዕድል ይኖረዋል።

በግንቦት 2009 ደግሞ ወደ 590 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የወጣበት የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ተመረቀ። ይህ ወደብ ብትን ጭነትን፣ ተሽከርካሪዎችን፣ ብረታ ብረትንና ኮንቴይነሮችን ለማስተናገድ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከአዲሱ የባቡር መስመር ጋር እንዲገናኝ ተደርጓል። በዚያው ዓመት በሰሜን ጅቡቲ የሚገኘው የታጁራ ወደብም ተመርቋል።

ለማስፋፊያው የሚያስፈልገው ገንዘብ በከፍተኛ ደረጃ የተገኘው ከቻይና ምንጮች ነው። ቻይና መርቻንትስ የተባለው ኩባንያ በጅቡቲ ወደብ አክሲዮን ማኅበር ውስጥ የ23 ነጥብ 5 በመቶ ድርሻ ገዝቷል። በአንጻሩ የጅቡቲ መንግሥት በየካቲት 2010 ከዲፒ ወርልድ ጋር የነበረውን የኮንቴይነር ተርሚናል ውል በማቋረጡ ጉዳዩ ለንደን ወደሚገኝ የግልግል ፍርድ ቤት አምርቶ ዓመታት የዘለቀ ክርክር አስከትሏል።

መጨናነቅ እንዴት ይፈጠራል?

መርከብ ጭነቱን ለማራገፍ ማቆሚያ ቦታ፣ ክሬን፣ የሚራገፍበት ሜዳ ወይም መጋዘን፣ የሚያነሳው ተሽከርካሪና የተሟላ ሰነድ ያስፈልገዋል። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል የሌሎቹ አቅም ከጥቅም ውጭ ይሆናል። በተለይ እንደ ስንዴና ማዳበሪያ ያለው ብትን ጭነት በወደቡ ላይ በከረጢት እየተሞላ በቀጥታ በተሽከርካሪ ላይ ስለሚጫን፣ የማራገፉ ፍጥነት የሚወሰነው በቀን በሚቀርቡት ከባድ መኪኖች ብዛት ነው።

ለአብነት 50 ሺህ ቶን ማዳበሪያ የጫነ አንድ መርከብ ቢወሰድ፣ እያንዳንዳቸው 400 ኩንታል በሚጭኑ ተሳቢ መኪኖች ለማንሳት 1 ሺህ 250 ምልልስ ያስፈልጋል። በቀን 100 መኪኖች ቢቀርቡ መርከቡ ተራግፎ የሚያልቀው ከ12 ቀናት በላይ ቆይቶ ነው። ሁለት መርከቦች በአንድ ጊዜ ቢደርሱና የመኪኖቹ ቁጥር ባይጨምር ሥራው 25 ቀናት ይወስዳል። ተጨማሪ የመርከብ ማቆሚያ ቢሠራም ይህ ስሌት አይለወጥም። ከወደቡ በጋላፊ በኩል አዲስ አበባ ድረስ ያለው መንገድ ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚደርስ በመሆኑ፣ አንድ መኪና ደርሶ፣ አራግፎና ተመልሶ ዳግም ለመጫን በርካታ ቀናት ያስፈልጉታል። በመድረሻው መጋዘን ላይ ሳያራግፍ የሚቆም መኪናም በወደቡ ላይ እንደጎደለ የሚቆጠር ነው።

መርከቡ በውሉ ከተወሰነለት ጊዜ በላይ ሲቆይ ዲመሬጅ የሚባለው የመዘግየት ክፍያ በየቀኑ ይታሰባል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም ስለሆነ ምንም ዕቃ ሳይገዛበት ከአገር የሚወጣ ገንዘብ ነው።

የ2008 ተሞክሮ

ይህ ችግር በግልጽ የታየው በኤልኒኞ ምክንያት ድርቅ በተከሰተበት በ2008 ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር 10 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ይፋ በመደረጉ ከፍተኛ መጠን ያለው ስንዴ ከውጭ ተገዛ፤ በእርዳታም ተገኘ። የስንዴው መርከቦች ለመኸር እርሻ የሚያስፈልገውን ማዳበሪያ ከጫኑት ጋር በተመሳሳይ ወራት በመድረሳቸው በርካታ መርከቦች ከወደቡ ውጭ መልሕቅ ጥለው ተራ ለመጠበቅ ተገደዱ።

ሁለቱም ጭነቶች ሊዘገዩ የማይገባቸው ነበሩ። ስንዴው ለተራበ ሕዝብ የሚደርስ ሲሆን፣ ማዳበሪያውም ከክረምቱ ዝናብ በፊት ካልደረሰ የሚቀጥለውን ዓመት ምርት የሚቀንስ ነው። ሁለገብ ወደቡ ገና ያልተጠናቀቀ ከመሆኑም በላይ የከባድ መኪኖች አቅርቦት ከጭነቱ ጋር የሚመጣጠን ባለመሆኑ፣ ለየትኛው ጭነት ቅድሚያ ይሰጥ የሚለው ጥያቄ አሳሳቢ ውሳኔ የሚጠይቅ ሆኖ ነበር።

ደረቅ ወደብና የመልቲ ሞዳል አሠራር

ቀደም ባለው የዩኒ ሞዳል አሠራር የአስመጪው ኃላፊነት ከጅቡቲ ይጀምራል። የወደብ ክፍያውን የሚፈጽመው፣ ትራንዚተሩን የሚወክለውና መኪና የሚያፈላልገው እሱ ራሱ ነው። ሰነዱ ወይም ገንዘቡ ያልተሟላለት አስመጪ ዕቃ በወደቡ ሜዳ ላይ ተከማችቶ ይቆያል። በመልቲ ሞዳል አሠራር ግን አንድ አጓጓዥ ዕቃውን ከተነሳበት አገር ወደብ እስከ አገር ውስጥ ደረቅ ወደብ ድረስ በአንድ የጭነት ሰነድ ተረክቦ ያደርሳል፤ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓቱም በደረቅ ወደቡ ይፈጸማል።

አሠራሩን ለማጠናከር የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ፣ የባሕርና ትራንዚት አገልግሎት እንዲሁም የደረቅ ወደብ አገልግሎት ድርጅቶች በ2004 ተዋህደው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ተቋቋመ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም የግል ድርጅቶች በመልቲ ሞዳል ሥራ እንዲሰማሩ ፈቃድ ተሰጥቷል። ከሞጆ በተጨማሪ በሰመራ፣ በድሬዳዋ፣ በኮምቦልቻ፣ በመቀሌና በሌሎችም ቦታዎች ደረቅ ወደቦች አሉ።

ይሁንና በአሠራሩ የመጀመሪያ ዓመታት ከጅቡቲ የተነሱት ኮንቴይነሮች ባለቤቶቻቸው በወቅቱ ስላላነሷቸው በሞጆ ተከማችተው ነበር። መጨናነቁ ከባሕሩ ዳር ወደ መሐል አገር ተሸጋገረ እንጂ አልተወገደም። የዓለም ባንክ በ2009 የሞጆ ደረቅ ወደብን ለማዘመንና የሎጂስቲክስ አሠራሩን ለማሻሻል የ150 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ያጸደቀው ይህንኑ ክፍተት ለመሙላት ነው። በጥር 2012 ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ደግሞ ነጋዴው በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ያቀርበው የነበረውን የፈቃድና የጉምሩክ ሰነድ በአንድ ሥርዓት እንዲያቀርብ አስችሏል።

የባቡር መስመሩ

መስከረም 25 ቀን 2009 የተመረቀውና በታኅሣሥ 2010 መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው የኢትዮ-ጅቡቲ የባቡር መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ ነው። በአንድ ጉዞ በርካታ ኮንቴይነሮችን በማንሳት የወደቡን ሜዳ ለማቃለል ያስችላል። ከግንቦት 2016 ጀምሮ የመስመሩ ሥራና አስተዳደር ከቻይና ተቋራጮች ወደ ሁለቱ አገሮች የጋራ ኩባንያ ተላልፏል።

ይሁን እንጂ አብዛኛው ጭነት አሁንም የሚጓጓዘው በከባድ መኪና ነው። ባቡሩ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚያደርስ በመሆኑ ዕቃው ወደ መጋዘን ለመግባት እንደገና በመኪና መጫን ይኖርበታል። የገቢ ጭነቱ ከወጪው እጅግ የሚበልጥ ስለሆነም ባዶ ኮንቴይነሮችን ጭኖ መመለሱ ለባቡሩም ለመኪናውም ወጪን የሚያንር ነው።

አማራጭ ወደቦች

በቀጠናው የወደብ ግንባታ ውድድር እየጨመረ መጥቷል። ዲፒ ወርልድ በበርበራ የገነባው የኮንቴይነር ተርሚናል የመጀመሪያ ምዕራፍ በሰኔ 2013 ተመርቋል። በኬንያ የላሙ ወደብ የመጀመሪያ ማቆሚያም በግንቦት 2013 ሥራ ጀምሯል። ከኅዳር 2016 ወዲህ በቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ በንግድ መርከቦች ላይ የተፈጸሙት ጥቃቶች በርካታ የመርከብ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ ዙሪያ እንዲጓዙ ማስገደዳቸው በአንድ የባሕር በር ላይ ብቻ መመካት የሚያስከትለውን ሥጋት አጉልቶ አሳይቷል። ያም ሆኖ ማንኛውም ወደብ የሚጠቅመው መንገዱ፣ የድንበር ኬላውና ደረቅ ወደቡ አብረው ሲዘጋጁ ነው።

ለፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች ያለው ትርጉም

የዓለም ባንክ በ2013 ባወጣው የኮንቴይነር ወደቦች የአፈጻጸም መለኪያ ጅቡቲ ከአፍሪካ አንደኛ፣ ከዓለም ደግሞ 61ኛ ደረጃን አግኝታለች። መለኪያው የሚመዝነው መርከብ በወደብ የሚቆይበትን ጊዜ እንጂ ዕቃው ባለቤቱ እጅ እስኪገባ ያለውን ጉዞ አይደለም። ቀሪው የጉዞ ክፍል በአብዛኛው የሚወሰነው በአገር ውስጥ በሚገኙ ተቋማት አፈጻጸም ነው።

በመሆኑም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የግዥ ውል ሲዋዋሉ የመርከቦችን መድረሻ ጊዜ ከሌሎች ተቋማት ጭነት ጋር ማቀናጀት፣ የባንክና የጉምሩክ ሰነዶችን መርከቡ ከመድረሱ በፊት ማጠናቀቅ፣ የመኪናና የባቡር አቅርቦትን አስቀድሞ ማስያዝ እንዲሁም በመድረሻው መጋዘን በቂ ቦታና የጭነት ሠራተኛ ማዘጋጀት ይጠበቅባቸዋል። ከእነዚህ አንዱ ሲዘነጋ በዶራሌ የተሠራው ጥልቅ ወደብ የሚያስገኘው የጊዜ ቁጠባ በመንገድና በመጋዘን በር ላይ ባክኖ ይቀራል።